ቀስ ብለው ለሚሮጡ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ

ክቡር አዘጋጅ፣ ዕድሜዬ 44 ሲሆን ጅማ ከተማ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት በሒሳብ ሠራተኛነት አገለግላለሁ። ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ በኋላ ለጤናዬ ብዬ ሶምሶማ ጀመርኩ፤ ውሎ አድሮም ከባልደረቦቼ ጋር በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ፣ በቦዬ በኩል ባለው አስፋልት መሮጥ ለመድኩ። ችግሬ ፍጥነቴ ነው። ሁሉም ይቀድሙኛል፤ መታጠፊያው ላይ ቆመው ይጠብቁኛል፤ እኔ ስደርስ እነርሱ ዐርፈው ስለጨረሱ ወዲያው ይነሣሉ፣ እኔም ሳላርፍ እከተላቸዋለሁ። 10 ኪሎ ሜትር የምጨርሰው በ1 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ነው፤ ይህም ሰዓት ዓመት ሙሉ አልተሻሻለም። በቅርቡ በከተማችን በተካሄደ አንድ ውድድር ላይ የመጨረሻው መስመር ጋ ስደርስ ድምፅ ማጉያው እየተነቀለ፣ ገመዱም እየተጠቀለለ ነበር። መንገድ ላይ ልጆች «ደራርቱ! ደራርቱ!» እያሉ ሲጠሩኝ ደግሞ እሸማቀቃለሁ። አሁን አሁን ማለዳ ስነቃ ልቤ አይነሣም፤ የቢሮ ደረጃ ስወጣ እንኳ ይደክመኛል። ልተወው ወይስ ልቀጥል? ብቀጥልስ ፍላጎቴን በምን ላቆየው?

ሰ. ከጅማ

መልስ

ውድ ጠያቂያችን፣ ይቀጥሉ። ነገር ግን አሁን በያዙት አካሄድ አይቀጥሉ። ከደብዳቤዎ እንደምረዳው ለባልደረቦችዎ ልምምድ የሆነው ፍጥነት ለእርስዎ ውድድር ነው፤ እነርሱ በሳምንት ሦስት ቀን ሲለማመዱ እርስዎ በሳምንት ሦስት ቀን ይወዳደራሉ፣ ያውም ሦስቱንም ቀን እየተሸነፉ። እንዲህ ባለ ሁኔታ ውስጥ ዓመት ሙሉ የቆየ ሰው ልቡ አልነሣ ቢለው የሚደንቅ አይደለም፤ ይልቅስ እስካሁን አለመተውዎ ለዚህ ነገር ያለዎትን ፍቅር ያሳያል። ስለዚህ የምሰጥዎ ምክር በአብዛኛው አንድ ነው፦ ከአሁኑ በጣም ቀስ ብለው ይሩጡ።

በዝግታ ስንሮጥ ሰውነታችን የሚሠራው ሥራ ከውጭ ስለማይታይ ብዙ ሰው ይንቀዋል። ሆኖም በጡንቻ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች የሚበራከቱት፣ ሚቶኮንድሪያ የሚባሉት ኃይል አመንጪ የሕዋስ ክፍሎች የሚጨምሩት፣ ልብም በአንድ ምት የምትረጨው ደም ከፍ የሚለው በአመዛኙ ትንፋሽ ሳያጥር ለረጅም ደቂቃ በሚደረግ ሩጫ ነው። በተጨማሪም ጅማትና አጥንት ከልብና ከሳንባ ዘግይተው ነው የሚጠነክሩት፤ በዚህም የተነሣ ትንፋሽዎ «እችላለሁ» በሚልበት ወቅት ባትዎና ተረከዝዎ ገና ላይደርሱ ይችላሉ። ሁልጊዜ በጥድፊያ የሚሮጥ ሰው ከሩጫ ወደ ሩጫ ሳያገግም ስለሚሸጋገር፣ ለመሻሻል የሚያስፈልገውን ዕረፍት ለራሱ ይነፍጋል። ሰዓትዎ ዓመት ሙሉ ባለበት የቆመው ከዚህ የተነሣ ነው ብዬ አምናለሁ።

ፍጥነትዎ ልክ መሆኑን ለማወቅ ውድ ሰዓት መግዛት አያስፈልግዎትም። አብሮዎት ለሚሮጥ ሰው ትናንት ቢሮ የሆነውን ነገር ያጫውቱት፤ ዐረፍተ ነገሩን መሐል ላይ ትንፋሽ ሳይቆርጠው ከጨረሱ ፍጥነትዎ ትክክል ነው፣ በሁለት ሦስት ቃል የሚቆራረጥ ከሆነ ግን ይቀንሱ። ዳገት ላይ ለመቀነስ መራመድ ግድ ከሆነ ይራመዱ። በሩጫ መካከል መራመድን እንደ ሽንፈት የሚቆጥር ልማድ በመካከላችን አለ፤ እኔ ግን ለጀማሪም ሆነ ለዘገየ ሯጭ ከሁሉ የተሻለው የልምምድ ዘዴ እርሱ ነው እላለሁ።

ይህን ስል ሩጫ በአገራችን የሻምፒዮኖች ሥራ ተደርጎ እንደሚታይ ሳልዘነጋ ነው። ቀነኒሳ በቀለ በ1997 ዓ.ም. ብራስልስ ላይ 10 ሺህ ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ17 ሴኮንድ የሮጠበት አገር ውስጥ፣ ያንኑ ርቀት በ1 ሰዓት ከ22 ደቂቃ የጨረሰ ሰው ራሱን ሯጭ ብሎ ለመጥራት ያፍራል። ነገር ግን ማለዳ እንጦጦ ጫካ ሄዶ ያየ ሰው እንደሚያውቀው፣ እነዚያ ታላላቅ አትሌቶች በቀላል ቀናቸው ተራ በተራ ተሰልፈው፣ በባሕር ዛፉ መካከል እየተጠማዘዙ፣ በእርጋታ ነው የሚሮጡት። የውድድር ፍጥነታቸውን እኔም እርስዎም ልንኮርጅ አንችልም፤ ቀላል ቀናቸውን ቀላል ማድረጋቸውን ግን ከነገ ጠዋት ጀምሮ መኮረጅ እንችላለን።

ባልደረቦችዎን አይተዉ። ጓደኛ የሌለው ሯጭ ብርድና ጭጋግ ባለበት ማለዳ ብርድ ልብሱን ገፎ መነሣት ይከብደዋል። ይልቁንም የአሯሯጡን ሥርዓት እንዲቀይሩ በግልጽ ይንገሯቸው፤ ርቀቱን ትታችሁ ደቂቃውን ተስማሙበት። ሁላችሁም ከአንድ ቦታ ተነሥታችሁ እያንዳንዱ በራሱ ፍጥነት 25 ደቂቃ ይሂድ፤ 25 ደቂቃ ሲሞላ ደግሞ ሁሉም ያለበት ቦታ ላይ ይታጠፍ። ያን ጊዜ ከፊት የነበሩት ከኋላ፣ ከኋላ የነበሩት እርስዎ ደግሞ ከፊት ይሆናሉ፤ ሁሉም ፍጥነቱን ከጠበቀ መነሻው ላይ የምትደርሱት በተቀራራቢ ሰዓት ነው። መታጠፊያ ላይ ቆሞ የሚጠብቅ የለም፣ የሚጠበቅም የለም። የቦዬ መንገድ ሜዳማ ስለሆነ ለዚህ አሯሯጥ ይመቻል። ሦስቱንም ቀን ከእነርሱ ጋር መሆን የለብዎትም፤ አንዱን ቀን ብቻዎን፣ ወይም በፍጥነት ከሚመጥንዎ ሰው ጋር ይሩጡ።

መለኪያዎንም ይቀይሩ። የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆኑ መዝገብ መያዝ አያስተምሩዎትም። በየወሩ አንድ ቀን ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወጣውን የጅሬንን አቀበት፣ ማውራት በሚያስችል ትንፋሽ ሳይቻኮሉ ይውጡና ለመራመድ የተገደዱት ከየትኛው የመብራት ምሰሶ አጠገብ እንደሆነ ይጻፉ። በሚቀጥለው ወር ያንን ምሰሶ አልፈው ወደሚቀጥለው ከሮጡ፣ የውድድር ሰዓትዎ ገና ባይቀንስም ልብዎና ጡንቻዎ ተለውጠዋል ማለት ነው። ከዚህ ሌላ ያለማቋረጥ ስንት ሳምንት እንደሮጡ ይመዝግቡ፤ ለእኔ ከሁሉም ቁጥር የሚበልጠው ይህ ነው። በይነመረብ ላይ ለዕድሜዎ «ተገቢ» ተብለው የተዘረዘሩትን ሰዓቶች ግን ይተዋቸው። አብዛኞቹ ለባሕር ጠለል ቅርብ በሆኑ ከተሞች የሚሮጡ ሰዎችን ታሳቢ ያደረጉ ሲሆኑ፣ ጅማ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በዚህ ከፍታ ሰውነት የሚያገኘው ኦክስጅን ስለሚያንስ ያው ሰው ያንኑ ርቀት ቀስ ብሎ ነው የሚጨርሰው።

ስድስት ሳምንት ያህል እንዲህ በእርጋታ ከሮጡ በኋላ፣ በሳምንት በአንዱ ቀን ብቻ ጠንከር ያለ ነገር ይጨምሩ። በሚገባ ካሟሟቁ በኋላ 1 ደቂቃ ፈጠን፣ 2 ደቂቃ ዘና እያሉ ስድስት ጊዜ ይድገሙት። ሰዓትዎ እንዲቀንስ የሚያደርገው ይህ ነው፤ በደከመ ሰውነት ላይ ግን አይሠራም።

ደረጃ ስወጣ ይደክመኛል ያሉትን ነገር ከሩጫው ለይቼ ልመልስ፣ ምክንያቱም ይህ በምክር ብቻ የሚታለፍ አይደለም። በእርስዎ ዕድሜ ያለች፣ የወር አበባ የምታይና አዘውትራ የምትሮጥ ሴት የብረት እጥረት ሊያጋጥማት ይችላል፤ ምልክቱም ድካም፣ ትንፋሽ ማጠርና ፍላጎት ማጣት ስለሆነ ሰው በቀላሉ «ሰነፍኩ» ብሎ ራሱን ይወቅሳል። ወደ ጤና ተቋም ሄደው የሂሞግሎቢን (ኦክስጅን ተሸካሚው የደም ክፍል)፣ ከተቻለም የፌሪቲን (የሰውነት የብረት ክምችት መለኪያ) ምርመራ ያድርጉ፤ ሳይመረመሩ ግን የብረት ክኒን ገዝተው አይዋጡ። በጅማ ለሚኖር ሰው ይህን ማለት ቢከብድም፣ ከምግብ ጋር ወይም ምግብ እንደተነሣ የሚጠጣ ቡናና ሻይ ከእህልና ከጥራጥሬ የምናገኘው ብረት ወደ ደም እንዳይገባ በእጅጉ ያግዳል። ቡናዎን አይተዉ፤ ከምግቡ አንድ ሁለት ሰዓት ያርቁት። ከሩጫ በፊት የሚጠጣ ቡና ደግሞ ድካምን በማዘግየት የሚረዳቸው ሰዎች ብዙ ናቸው።

ስለ ውድድሩ ልመለስ። እርስዎ ሳይደርሱ ድምፅ ማጉያውን መንቀል ተገቢ አይደለም፤ የመመዝገቢያውን ገንዘብ የከፈሉት ከአንደኛው እኩል ነው፣ የሮጡትም ርቀት አንድ ነው። ወደፊት ከመመዝገብዎ በፊት የሰዓት ገደቡ ስንት እንደሆነና የመጨረሻው ሰው እስኪገባ መስመሩ ይጠበቅ እንደሆነ አዘጋጆቹን ይጠይቁ፤ ጠያቂ ሲበዛ እነርሱም ያስቡበታል። በውድድሩ ዕለት ከኋላ ይነሡ፣ የመጀመሪያዎቹን 2 ኪሎ ሜትሮች ሆን ብለው በዝግታ ይሩጡ፣ ልጆችዎም መጨረሻው መስመር ላይ ቆመው ይጠብቁዎት።

ከተቻለዎት አንድ ጊዜ ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያን ይሩጡ። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ በኅዳር ወር የሚካሄደው ይህ የ10 ኪሎ ሜትር ሩጫ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ የሚሳተፍበት ሲሆን፣ ከፊት ካሉት አትሌቶች በስተቀር አብዛኛው ሰው እየዘፈነ፣ እየጨፈረ፣ ሲደክመውም እየተራመደ ነው የሚጨርሰው። እዚያ በ1 ሰዓት ከ22 ደቂቃ የሚገባ ሰው ከኋላው ገና እልፍ ሕዝብ አለ። አዲስ አበባ ከጅማ በብዙ ከፍ ያለች፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ያለች ከተማ ስለሆነች ግን ሰዓትዎን እንዲያሻሽሉ አልመክርዎትም።

«ደራርቱ!» እያሉ የሚጠሩዎት ልጆች ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ ወርቅ ስታገኝ አልተወለዱም። የምትሮጥ ሴት ሲያዩ የሚያውቁትን ትልቁን ስም ነው የሚሰጡዎት። እጅዎን አንሥተው ሰላም ይበሏቸው፤ በሚቀጥለው ቀን ጥቂት ሜትር አብረውዎት ሲሮጡ ያገኟቸው ይሆናል።

ጥያቄ

በረመዳን ወር ልምምድ ሳቆም ከዚያ በኋላ መመለስ ያቅተኛል። እየጾምኩ መሮጥ እችላለሁ?

ሙ. ከጅማ

መልስ

ጤነኛ ከሆኑ ይችላሉ፤ ስኳር፣ ደም ግፊት ወይም የኩላሊት ችግር ካለብዎት ግን አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ። የሚመረጠው ሰዓት ከኢፍጣር በፊት ያለው የመጨረሻው ግማሽ ሰዓት ነው፤ ጨርሰው እንደገቡ ውኃና ቴምር ያገኛሉና። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ፣ በጣም ዘና ብለው ይሩጡ፤ ማዞርና ራስ ምታት ከተሰማዎት በዚያው ይብቃዎት። ፈጣን ልምምዱን ከኢድ በኋላ ያድርጉት።

ጥያቄ

ክረምት ሲገባ ዝናቡና ጭቃው ያሸንፈኛል። ሰኔ ላይ አቆማለሁ፣ መስከረም ላይ እንደ አዲስ እጀምራለሁ፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ለሚደረጉ ውድድሮች ሳልዘጋጅ እደርሳለሁ። ለሦስት ዓመት እንዲሁ ሆነብኝ።

ተ. ከጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ

መልስ

ወንድሜ፣ የጅማ ዝናብ ከብዙ ከተሞች ዝናብ ይረዝማል፤ እስኪያባራ የሚጠብቅ ሰው የዓመቱን ግማሽ ቤቱ ይቀመጣል። የምሥራቹ ግን ያገኙትን አቅም ይዞ ለመቆየት፣ አቅሙን ለመገንባት ከሚያስፈልገው በጣም ያነሰ ሥራ መብቃቱ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ያቋረጠ ሰው ትንፋሹ መቀነሱን ይሰማዋል፤ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ የሮጠ ሰው ግን አቅሙን በአብዛኛው ይዞ ሁለት ሦስት ወር መሻገር ይችላል። ስለዚህ ከሰኔ እስከ ጳጉሜን ድረስ ግብዎ መሻሻል አይሁን፤ ሁለቱን ቀን አለማጣት ይሁን። ዝናቡ የሚበረታው አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ማለዳውን ይጠቀሙ። ቀዩ ጭቃም ሆነ የረጠበ ኮብልስቶን ቁርጭምጭሚት ያዞራልና አስፋልቱን ይምረጡ፤ ባጃጆች በጭጋግ ውስጥ እንዲያዩዎት ነጭ ወይም ደማቅ ልብስ ይልበሱ።

ጫማ ሁለት ቢኖርዎት እየቀያየሩ ይሮጣሉ። ሁለተኛውን ከሳልባጅ ከገዙ ሶሉን በአውራ ጣትዎ ይጫኑት፤ ጎኑ ላይ ብዙ ሽብሽብ ካለውና ሲጫኑት የማይመለስ ከሆነ አይግዙት። የረጠበውን ጫማ ከሰል አጠገብ አያስቀምጡ፣ ሙጫው ይለቃል፤ የውስጥ ንጣፉን አውጥተው ጫማውን በጋዜጣ ይጠቅጥቁት፣ ጋዜጣው ሲርስ በደረቅ ይቀይሩለት፤ ለማግስቱ ባይደርስ እንኳ ለቀጣዩ የሩጫ ቀን ይደርቅልዎታል።