ልጆች ይዞ በመርከብ ወደ አላስካ፦ ጥያቄና መልስ

ከሲያትል ተነስቶ በ7 ሌሊት ደርሶ ስለሚመለሰው የአላስካ ክሩዝ የመጡትን ጥያቄዎች፣ ተመሳሳዮቹን እያጣመርኩ፣ ከዚህ በታች መልሻለሁ። ዋጋና የመርከብ ደንብ እንደየኩባንያው ይለያያል፤ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት በጽሑፍ አረጋግጡ።

ጥያቄ፦ ልጆቼ 4 እና 9 ዓመታቸው ነው። በየትኛው ወር ብንሄድ ይሻላል?

መርከቦቹ ከኤፕሪል መጨረሻ እስከ ኦክቶበር አጋማሽ ይሄዳሉ። ሜይና የጁን መጀመሪያ ዝናቡ ቀለል ይላል፣ ተራራው ገና በረዶ እንደለበሰ ነው፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ግን ሳልመን የሚባለው ዓሣ ወደ ወንዞቹ ገና ስላልገባ ድብ በቅርብ የማየት ዕድላችሁ ጠባብ ነው። ከጁላይ አጋማሽ እስከ ኦገስት አጋማሽ ሳልመኑም ድቡም ዓሣ ነባሪውም አለ፣ አየሩም ሞቅ ይላል፤ ነገር ግን ዋጋው ጣሪያ የሚነካው ያኔ ነው። ሴፕቴምበር ርካሽ የሆነው በምክንያት ነው፦ ዝናቡም ማዕበሉም ይበረታል። ለእነዚህ ሁለት ልጆች እኔ የምመርጠው የጁላይን ሁለተኛ አጋማሽ ነው።

ጥያቄ፦ ብርዱን ይችሉታል ወይ? ምን ያህል ልብስ ልያዝ?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መርከቡ ከሚቆምባቸው የአላስካ ከተሞች አንዷ ጁኖ በጁላይ ቀን ላይ 17 ወይም 18 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ሌሊት 10 አካባቢ ነው። ከአዲስ አበባ ክረምት ብዙም አይርቅም። ልጅን የሚያስለቅሰው እርጥበቱ ነው። ሌላዋ የአላስካ የወደብ ከተማ ኬቺካን በዓመት ወደ 3,800 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይወርድባታል፣ የአዲስ አበባን ከሦስት እጥፍ በላይ። ስለዚህ ወፍራም የክረምት ካፖርት ተሸክማችሁ አትሂዱ፤ ይረጥባል፣ ካቢን ውስጥም አይደርቅም።

ለአንድ ልጅ የሚበቃው ይህ ነው፦ ከቆዳ ጋር የሚለበስ ስስ የሱፍ ወይም የፖሊስተር የውስጥ ልብስ 2 ሙሉ፣ ፍሊስ (ለስላሳ የሚያሞቅ ሹራብ) 1፣ ኮፍያ ያለው ውኃ የማያስገባ ጃኬት 1፣ የዝናብ ሱሪ 1፣ የሱፍ ካልሲ 5 ጥንድ፣ ጆሮ የሚሸፍን ኮፍያ 2፣ ጓንት 3 ጥንድ። ጓንት ሦስት ያልኩት አንዱ ሁልጊዜ ስለሚጠፋ፣ አንዱ ደግሞ ሁልጊዜ እርጥብ ስለሚሆን ነው። ጥጥ፣ ማለትም ጂንስና ሁዲ፣ ለመርከቡ ውስጥ ብቻ ይሁን። ጋቢም ጥጥ ነው። በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ ለመጠቅለል የሚያህለው የለም፤ ዝናብ ከነካው ግን ሁለት ቀን አይደርቅም።

አለባበሱም ላይ ትንሽ ነገር አለች። የጓንቱ አፍ ከጃኬቱ እጅጌ ሥር ይግባ፣ የዝናብ ሱሪውም ከቦቲው ውጭ ይውረድ። በተቃራኒው ካደረጋችሁት እጅጌው ላይ የወረደው ውኃ ጓንቱ ውስጥ ይጠራቀማል፣ የሱሪው ደግሞ ቦቲው ውስጥ። ልጁ «ጣቴ በረደኝ» ሲል መጀመሪያ የምታዩት ይህንን ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን በአሜሪካ ቪዛ መጥታለች። ይዘናት መሄድ እንችላለን? እኛ ግሪን ካርድ አለን፣ ልጆቹ ዜጋ ናቸው።

ትችላላችሁ፤ ግን ለእሷ የካናዳ ቪዛ ያስፈልጋል። መንገዱ ካናዳን የሚነካው በሕግ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1886 የወጣ የአሜሪካ ሕግ፣ የውጭ አገር ባንዲራ የሚያውለበልብ መርከብ ከአሜሪካ ወደብ መንገደኛ ጭኖ እዚያው ሲመልስ መሐል ላይ የውጭ አገር ወደብ እንዲነካ ያስገድዳል። ትልልቆቹ ክሩዞች በሙሉ ለማለት ይቻላል የውጭ ባንዲራ ስላላቸው በካናዳዋ ቪክቶሪያ ከተማ ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ በመጨረሻው ምሽት፣ ለጥቂት ሰዓታት ይቆማሉ። እናትዎ «ከመርከቡ አልወርድም» ቢሉም ቪዛው አይቀርም፤ ካልያዙ ሲያትል ላይ ገና ከመሳፈሪያው ይመለሳሉ። ማመልከቻው 100 የካናዳ ዶላር፣ አሻራው 85 ነው። ሳምንታት ስለሚወስድ ቲኬቱን ከመቁረጣችሁ በፊት ጀምሩት። የአሜሪካ ቪዛቸውም ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ መሆኑን እዩ፤ ከካናዳ ሲመለሱ እንደገና መግባት ነውና።

እናንተ ግሪን ካርድና ያልተቃጠለ የአገር ፓስፖርት፣ ሁለቱንም ያዙ። ግሪን ካርድ ብቻውን ለካናዳ አይበቃም። ከ16 ዓመት በታች ያሉ ዜጋ ልጆች በዚህ ዓይነቱ ደርሶ መልስ ጉዞ በልደት ሰርተፊኬት መሄድ ይችላሉ። እኔ ግን ፓስፖርት አውጡላቸው እላለሁ፦ ልጁ ታሞ ቪክቶሪያ ላይ ብትቀሩ በልደት ሰርተፊኬት አውሮፕላን አይሳፈርም። ልጁን የሚወስደው አንድ ወላጅ ብቻ ከሆነ ሌላኛው ወላጅ የፈረመበትና ኖተራይዝድ የሆነ የፈቃድ ደብዳቤ ይያዝ።

ጥያቄ፦ ልጄ መኪና ውስጥ እንኳን ያስመልሳታል። 5 ዓመቷ ነው። ባሕሩስ?

ከሲያትል የሚነሱት መርከቦች አብዛኞቹ በቫንኩቨር ደሴት ምዕራብ፣ በክፍቱ ውቅያኖስ በኩል ነው የሚያልፉት፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ሙሉ ቀን ይወዛወዛል። ከቫንኩቨር ከተማ የሚነሳው መርከብ ግን ደሴቶቹ ከለላ በሆኑት መተላለፊያ ውስጥ ስለሚሄድ ይረጋል። ልጅቷ በጣም የሚያስቸግራት ከሆነ ወደ ቫንኩቨር ሦስት ሰዓት ያህል መንዳት ያዋጣል።

ካቢን ስትመርጡ ከመርከቡ መሐል፣ ከታችኞቹ ፎቆች ይሁን። መርከብ እንደ ዥዋዥዌ እንጨት ነው፤ ጫፉ ይነሳል ይወድቃል፣ መሐሉ ግን ብዙ አይንቀሳቀስም። መድኃኒቱ ዳይመንሃይድሪኔት ነው፣ ድራማሚን በሚል ስም የሚሸጠው። ከ2 እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ ከ12.5 እስከ 25 ሚሊ ግራም በየ6 እስከ 8 ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ከ75 ሳያልፍ። ለልጃችሁ መስማማቱን ግን ሐኪሟ ይወስን። የሚሠራው ማቅለሽለሹ ሳይጀምር ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድሞ ሲሰጥ ነው፤ ማስመለስ ከጀመረች ክኒኑም አብሮ ይወጣል። አንዳንድ ልጅ ላይ እንቅልፍ በማምጣት ፈንታ ያቅበጠብጣል፤ ከጉዞው በፊት አንድ ቀን ቤት ውስጥ ሞክሩት። ከጆሮ ጀርባ የሚለጠፈው የአዋቂዎች ፓች ለልጅ አይሆንም።

ጥያቄ፦ ግግር በረዶው የሚታይበት ቀን ልጆች አይሰለቹም?

ካላዘጋጃችኋቸው ይሰለቻሉ፣ ምክንያቱም አብዛኛው ሰዓት መጠበቅ ነው። ግግሩ እስኪደረስ ድረስ ውስጥ ይቆዩ፣ በደንብ ይብሉ፣ ሽንት ቤት ይግቡ። ፊቱ ላይ ሲደረስ መርከቡ ብዙውን ጊዜ አንድ ሰዓት አካባቢ ቆሞ ቀስ እያለ ስለሚዞር ሁሉም ጎን ያያል፤ ቦታ ለመሻማት ጧት መሰለፍ አያስፈልግም።

ለልጅ የምትሰጡት ሥራ ይኸውላችሁ። በረዶው ተገምሶ ባሕር ውስጥ ሲወድቅ መጀመሪያ የሚታየው ነጭ አቧራ የመሰለ ነገር ነው፤ ድምፅ የለውም። ከዚያ ነው እንደ ነጎድጓድ የሚመጣው። ካየበት ቅጽበት ድምፁ እስኪሰማ ልጁ ይቁጠር፤ እያንዳንዱ ሦስት ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። «ቅርብ ነው» ያለው ግድግዳ የት እንዳለ ራሱ ይደርስበታል። ጥቁር ነጥብ የሚመስሉት በተንሳፋፊው በረዶ ላይ የተጋደሙት አቆስጣዎች ናቸው፣ በእንግሊዝኛ «ሲል» (seal) የሚባሉት፤ በጁን ግልገሎቻቸው አብረዋቸው አሉ። ለልጅ 6 ወይም 7 ጊዜ የሚያጎላ ባይኖኩላር ይበቃል፤ ከዚያ በላይ የሚያጎላው በትንሽ እጅ ይንቀጠቀጣል።

መንገዳችሁ ግሌሲየር ቤይ የተባለውን ብሔራዊ ፓርክ ካካተተ የፓርኩ ሬንጀሮች (ጠባቂዎች) መርከቡ ላይ ወጥተው ለልጆች የሥራ ደብተር ያድላሉ፤ ሞልቶ ለመለሰ ባጅ ይሰጣል። ፓርኩ በቀን ሁለት ትልልቅ ክሩዝ ብቻ ነው የሚያስገባው፤ ስለዚህ የመርከቡ መርሐ ግብር ላይ ስሙ መኖሩን አይታችሁ ቁረጡ። ሌሎቹ መርከቦች ግግር ወዳለባቸው ወደ ኤንዲኮት አርም ወይም ወደ ሃባርድ ይሄዳሉ፣ እነሱም መጥፎ አይደሉም። በረዶው ከበዛ ካፒቴኑ መመለስ ይችላል፣ ያኔ ክርክር የለም።

ጥያቄ፦ በየወደቡ ጉብኝት መግዛት ግድ ነው? ለአምስት ሰው ዋጋው ያስደነግጣል።

አይደለም። በአንድ ጉዞ አንድ ትልቅ ጉብኝት ግዙ፣ ቢበዛ ሁለት። ገንዘብ ካለ መጀመሪያ የማወጣው ጁኖ ላይ ለዓሣ ነባሪ ጀልባ ነው፦ ከአውቶቡሱ ጋር ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ይፈጃል። ዝግና ሙቅ ክፍል እንዲሁም ሽንት ቤት ያለውን ጀልባ ምረጡ፤ ክፍቱ ፈጣን ጀልባ ለትንሽ ልጅ ቅጣት ነው። ጁኖ ላይ ያለው የሜንደንሆል ግግር ከወደቡ 20 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ወደ ነገት ፏፏቴ የሚወስደው መንገድ ደርሶ መልስ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ሜዳ ስለሆነ ስትሮለር ይገፋበታል። ድብ ስላለ በእግር መንገዶቹ ላይ ምግብ ክልክል ነው፤ ልጆቹን ከመነሳታችሁ በፊት አብሏቸው። የአውቶቡሱ ቦታ ስለሚያልቅ ቀድማችሁ ያዙ።

ስካግዌይ ላይ የዋይት ፓስ ባቡር አለ፦ እ.ኤ.አ. በ1898 ተጀምሮ በ1900 ያለቀ፣ ከባሕር ጠርዝ እስከ 873 ሜትር በ32 ኪሎ ሜትር ውስጥ የሚወጣ። የጅቡቲ–አዲስ አበባ ሐዲድ በ1897 ነው የተጀመረው፤ እኩዮች ናቸው፣ የዚህኛው ሐዲድ ስፋት ግን አንድ ሜትር ከሆነው ከእኛው ትንሽ ይጠብባል። ሲወጣ በግራ በኩል ተቀመጡ፣ ገደሉ ያለው በዚያ ነው። ወደ ሦስት ሰዓት ቁጭ ማለት ስለሆነ ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ አልመክርም። ኬቺካን ላይ ምንም አትግዙ፤ ከመርከቡ በእግር ወርዳችሁ ወንዙ ጋ ሂዱ። ከጁላይ መጨረሻ ጀምሮ ሳልመኑ ተፋፍጎ ሽቅብ ሲዘል ከድልድዩ ላይ በነፃ ይታያል።

ጥያቄ፦ ምግብ፣ ጾም፣ ቡና?

ፍልሰታ ከኦገስት 7 እስከ 21 ነው፣ መርከቡ በሚሞላበት ጊዜ። ቦታ ስትይዙ «ቪጋን» ብላችሁ አስመዝግቡ፤ መጀመሪያ ማታ ደግሞ አስተናጋጁን አነጋግሩ፣ የነገውን ከዛሬ ያዘጋጅላችኋል። የብዙ መርከብ ማዕድ ላይ የህንድ ምስር አይጠፋም፤ ለጾመኛ ልጅ ከሰላጣ ይሻላል። ሐላል የሚፈልግ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት በጽሑፍ ይጠይቅ።

ቤት የተሠራ ወጥና እንጀራ መሳፈሪያው ላይ ይወሰድባችኋል። ፋብሪካ ያሸገው ቆሎ ወይም ብስኩት ያልፋል። የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ማንቆርቆሪያ፣ ከሰልና እጣን እሳት ስለሚፈራ ክልክል ናቸው፤ ጀበናውን ቤት ተዉት። ከመርከቡ ፍራፍሬና ሳንድዊች ይዞ ወደብ መውረድም አይፈቀድም፣ ልጁ ቦርሳ ውስጥ ሙዝ መደበቁን ፈትሹ።

ጥያቄ፦ የ8 ወር ልጅ አለችኝ። ይዤ ልሂድ?

በዚህ መንገድ ብዙዎቹ መርከቦች ከ6 ወር ጀምሮ ይቀበላሉ፤ ስለዚህ ዕድሜዋ አይከለክልም። ዳይፐር በቀን 8 አስቡና ለ8 ቀን 64 ያዙ፤ መርከቡ ላይ ላይገኝ ይችላል፣ ወደብ ላይ ውድ ነው። የሕፃን አልጋ ቦታ ስትይዙ አስመዝግቡ። ሙቅ ውኃ ከምግብ አዳራሹ በቴርሞስ ትቀዳላችሁ። ዳይፐር ያደረገ ልጅ መዋኛው ውስጥ አይገባም፣ የዋና ዳይፐርም ቢሆን። የልጆች ክፍሉም ብዙውን ጊዜ የሚቀበለው 3 ዓመት ሞልቶት ሽንቱን የሚናገረውን ነው። እርጉዝ የሆነች ደግሞ ጉዞው ሳያልቅ 24 ሳምንት የሚሞላት ከሆነ አያሳፍሯትም።

ጥያቄ፦ ልጅ ቢታመምስ?

ሐኪም አለ፤ ሒሳቡ ግን በካቢናችሁ ላይ ነው የሚጻፈው፣ የቤታችሁ ኢንሹራንስም ብዙ ጊዜ አይቀበለውም። በሄሊኮፕተር ማውጣትን የሚሸፍን የጉዞ መድን ግዙ። ተቅማጥና ትውከት ከመጣ አትደብቁ፤ ካቢን ውስጥ አንድ ሁለት ቀን ትቆያላችሁ፣ ከተደበቀ ግን መርከቡን ያዳርሳል። እጅ በሳሙና ይታጠብ። ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የእጅ ማጽጃ ጄል ይህን ተቅማጥና ትውከት የሚያመጣውን ኖሮቫይረስ በደንብ አይገድልም።

ጥያቄ፦ ለ5 ሰው አንድ ክፍል ይበቃል?

ብዙው ክፍል ቢበዛ 4 ይይዛል። ሁለት ክፍል ስትይዙ በውስጥ በር የሚገናኙ መሆናቸውን አረጋግጡ፤ ጎን ለጎን መሆን ሌላ ነው። ግብርና የወደብ ክፍያ ለሕፃንም ይከፈላል። ጉርሻው በአንድ ሰው በቀን ከ16 እስከ 20 ዶላር ነው፤ ለ5 ሰው በ7 ሌሊት ከ560 እስከ 700 ዶላር ማለት ነው። በረንዳ ካለ ወንበሩን ከበረንዳው አጥር አርቁ፣ ልጅ የሚንጠላጠለው በወንበር ነው።

ጥያቄ፦ ሰዓቱ ይለወጣል?

አላስካ ከሲያትል አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ መርከቡ ግን የራሱን ሰዓት ነው የሚከተለው፣ ስልካችሁ ሊሳሳት ይችላል። ርካሽ የእጅ ሰዓት በመርከቡ ሰዓት ሙሉና ልጁ እጅ ላይ እሰሩት። መግቢያው ከመነሻው ብዙውን ጊዜ 30 ደቂቃ ቀድሞ ይዘጋል። በሀበሻ ቀጠሮ የመጣ ቤተሰብ መርከቡን ከወደቡ ላይ ቆሞ ይሸኘዋል።

ጥያቄ፦ ሰማይ ላይ የሚጨፍረውን አረንጓዴ ብርሃን እናያለን?

በጁንና በጁላይ አይታሰብም፤ ጁኖ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ነው፣ ሰማዩም በደንብ አይጨልምም። በሴፕቴምበር ደመና ከሌለ ይቻላል። ልጆቹን ከእንቅልፍ ለመቀስቀስ ከወሰናችሁ ካልሲና ኮፍያቸውን ማታውኑ አልጋቸው ጋ አስቀምጡ።