የስካውት ማኅበራችን ዕድገት በምን ይለካ? ለተነሣው ጥያቄ ከልምድ የተሰጠ መልስ

ጠያቂያችን እህታችን ሁለት ነገር አንሥተዋል። በአካባቢያችን ያለው የወጣቶች ስካውት ማኅበር እስካሁን በእውነት ምን አስገኘ? የሚቀጥለው የ5 ዓመት ዕቅድ ሲጻፍስ የአባላትን ቁጥር ሦስት እጥፍ ማድረግ ዋናው ግብ ቢሆን ተገቢ ነው ወይ? እኔ ደሴ ውስጥ ለ11 ዓመታት በበጎ ፈቃድ የስካውት መሪ ሆኜ አገልግያለሁ። ቁጥሩ ዋና ግብ መሆን የለበትም ባይ ነኝ፤ እንዲህ የምልበትንም ምክንያት ከመጀመሪያው ጀምሬ ላስረዳ።

የስካውት መሥራች እንግሊዛዊው ባደን ፓወል እ.ኤ.አ. በ1907 በእንግሊዝ አገር በብራውንሲ ደሴት የመጀመሪያውን ሰፈር (ካምፕ) ሲያደርግ የወሰደው 20 ያህል ልጆችን ብቻ ነበር፤ እነርሱንም በ4 ፓትሮል፣ ማለትም በ4 ትንንሽ ቡድን፣ ከፍሎ ለእያንዳንዱ ፓትሮል ከልጆቹ መካከል መሪ ሾመለት። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ከ50 ሚሊዮን በላይ አባላት ያሉት እንቅስቃሴ የቆመው በዚህች ትንሽ ቡድን ላይ ነው። በአገራችን ስካውት በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የነበረ ቢሆንም ከ1966ቱ አብዮት በኋላ በመቋረጡ፣ እኛ እንደገና ስንጀምር ጨርቁና ሰላምታው እንጂ አሠራሩ በእጃችን አልነበረም። በልጅነቱ በፓትሮል ውስጥ ያደገ ጎልማሳ በአጠገባችን ስላልነበረ ሁላችንም የምናውቀው ልጆችን የማስተዳደር ዘዴ የትምህርት ቤት ሰልፍ ብቻ ነበር።

ስለዚህም የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ያሳለፍነው በሰልፍ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ለአንድ በዓል የደንብ ልብስ አሰፋልን፤ ከ60 የሚበልጡ ልጆች አምረው ተሰለፉ፣ ፎቶግራፍ ተነሡ፣ ቁጥራቸውም በሪፖርት ላይ ሰፈረ። ከአንድ ወር በኋላ በቅዳሜው ስብሰባ የተገኙት 12 ነበሩ። የደንብ ልብሱ ግን አልተመለሰም፤ አንዳንዱን ገበያ ላይ በታናናሽ ወንድሞች ገላ ላይ እናየው ነበር። በልጆቹ አልፈርድባቸውም፤ ከመቆም በቀር የሰጠናቸው ሥራ አልነበረምና።

እድገት የምለውን ያየሁት ከዚያ ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ በአጋማሽ ዓመት ዕረፍት ከደሴ አጠገብ ባለው ጦሳ ተራራ ወገብ ላይ ሰፍረን ሳለ ነው። የራሳችን ድንኳን ስላልነበረን የሠፈሩን ቅሬ (እድር) ድንኳንና ሁለት ትልልቅ ድስቶች ተውሰን ነበር። በሁለተኛው ቀን ማለዳ ሰው ማረፉን የቅሬው ኃላፊ በስልክ ነገረኝና ድንኳኑን አሁኑኑ እንድናወርድ ጠየቀኝ። ስልኩን ዘግቼ ምን እንደማደርግ ሳስብ፣ ነገሩን ከአጠገቤ ሆና የሰማች የ14 ዓመት ፓትሮል መሪ ልጆቿን ቀስቅሳ ሥራ ማከፋፈል ጀመረች። ሁለቱ ካስማ ነቀሉ፣ ሁለቱ ገመድ ጠቀለሉ፣ ትልልቆቹ ቋሚውን ተሸከሙ፤ ትንሹ ልጅ ደግሞ ካስማዎቹን እየቆጠረ ወደ ጆንያ እንዲከት ታዘዘ። አንድ ካስማ ጎድሎ ነበርና እስኪገኝ ድረስ ማንም እንዲወርድ አልፈቀደችም። ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ድንኳኑ ለቅሶ ቤት ደረሰ፤ ልጆቹም ሳይታዘዙ ተክለውት እስከ ቀብር ድረስ ውኃ ሲቀዱ ዋሉ። ልጅቱ አንድ ጊዜ እንኳ ዞራ እኔን አልጠየቀችኝም። በዚያ ዓመት በሪፖርታችን ላይ የተጻፈው ግን «1 ሰፈር፣ 23 ተሳታፊ» የሚል ነበር።

በነሐሴ 2013 ከሰሜን ወሎ የተፈናቀለው ሕዝብ በደሴ ትምህርት ቤቶች ሲጠለል፣ ወረፋ በማስያዝና ሕፃናትን ከወላጆቻቸው ጋር በማገናኘት ሲሮጡ የነበሩት በአብዛኛው በእንዲህ ያሉ ጥቂት ፓትሮሎች ያደጉት ናቸው። በሰልፍ ካሰባሰብናቸው መካከል የመጡት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ።

ከወሎ ኑሮ ጋር የሚያያዙ ሁለት ጉዳዮችም በዕቅዱ ውስጥ ቦታ ያሻቸዋል። የመጀመሪያው የካምፕ ምግብ ነው። ሙስሊምና ክርስቲያን ልጆች በአንድ ፓትሮል ስላሉና የሚበሉት ሥጋ በእርድ ስለሚለያይ፣ ዓመቱን ሙሉ ያለ ሥጋ፣ በጾም ቀን ደግሞ ያለ ቅቤ በአንድ ድስት መቀቀልን መርጠናል፤ ሽሮና ምስር ማንንም አያስቀይምም። ሁለት ድስት ይለይ ያሉን ነበሩ፤ ድስት ሲለይ ግን ፓትሮሉም አብሮ ይለያል ብለን አልተቀበልነውም። ሁለተኛው ሴቶች ልጆች ናቸው። ወላጅ ሴት ልጁን ለአዳር የሚሰደው የሚያውቃት ሴት መሪ አብራ ስታድር ብቻ ነው፤ ልክም ነው። ሴት መሪ ባጣንባቸው ዓመታት ሴቶች ልጆች ከቅዳሜ ስብሰባ አላለፉም። (የስካውቶች ሰላምታ የሆነውን በግራ እጅ መጨባበጥን በተመለከተ፣ ግራ እጅ መዘርጋት በእኛ ዘንድ ንቀት ስለሆነ አንድ አዛውንት ክፉኛ ተቆጥተውን ነበር። ልጆቹ እርስ በርሳቸው በግራ፣ ታላላቆቻቸውን ግን በቀኝ ይጨብጣሉ ብለን ፈታነው።)

የችግኝ ተከላውም ሪፖርት የሚያሳምረው ስንት ተተከለ በሚለው ነው። እኛ ሐምሌ ላይ ተክለን ዘፈንን፣ ግንቦት ላይ ስንመለስ ፍየል ግጦት፣ ፀሐይ አድርቆት አገኘነው። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ፓትሮል በበጋ ውኃ ሊያደርስለት የሚችለውን ያህል ብቻ፣ ያውም ወይራና ጽድ እንዲተክል አደረግን። ቁጥራችን በጣም አነሰ፤ ጥላ የሚሰጥ ዛፍ ግን አለን።

እንግዲህ የ5 ዓመቱን ዕቅድ በተመለከተ፣ በአባላት ቁጥር ፋንታ ያለ ጎልማሳ እርዳታ የራሳቸውን የቅዳሜ መርሐ ግብር አውጥተው የሚመሩ ፓትሮሎች ስንት እንደ ደረሱ ይቆጠር። አባል ቢጨምር አልጠላም፤ ነገር ግን የሠለጠነ መሪ ሳይኖር የሚጨምር አባል ወደዚያው ወደ ሰልፉ ይመልሰናል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ገንዘብ ለመሪዎች ሥልጠና ይዋል፤ ከሠልጣኞቹም ግማሾቹ ሴቶች ይሁኑ። ማንኛውም ጎልማሳ ከአንድ ልጅ ጋር ለብቻው እንዳይሆን፣ በየካምፑም ቢያንስ ሁለት ጎልማሶች እንዲገኙ የሚያስገድደው ሕግ በጽሑፍ ወጥቶ ወላጆች ይፈርሙበት። መንገዱ ሰላም ባልሆነበት ወቅት ደግሞ በትምህርት ቤት ቅጥር ውስጥ መስፈር አያሳፍርም፤ እሳት ማንደድና ቋጠሮ መቋጠር እዚያም ይቻላል።

ለደንብ ልብስ የተያዘ በጀት ካለ ወደ ድንኳን መግዣ ይዛወር። ስካርፍ ለልጆቹ ይበቃቸዋል፤ የቅሬው ድንኳን ለቅሬው ይመለስ።