ካታላይዘሩን ከመፍታትህ በፊት

ሰሞኑን ጋራዥ ሥራ የጀመረ አንድ ልጅ እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦ «ጋሼ፣ አንድ መኪና ዳገት አልወጣ ብሎ ካታላይዘሩ (ጭስ ማውጫው ላይ ጭሱን የሚያጣራው) ተደፍኗል ተባለ። ሆዱን፣ የውስጡን ማጣሪያ ማለቴ ነው፣ አውጥተን ባዶውን መልሰን ብንገጥመውስ?» መልሱ አጭር ነው፤ አይሆንም። ግን ጥያቄው የቆየ ነገር ቀሰቀሰብኝና በዚህ ብቻ ማለፍ አቃተኝ።

በ1990ዎቹ ረዳት ሆኜ በምሠራበት ጋራዥ አንድ ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህር ደንበኛ ነበሩን። አሮጌ ነጭ ኮሮላ ነበረቻቸው። ቤታቸው ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ ስለሆነ ያንን ዳገት በየቀኑ ይወጡታል። አንድ ጠዋት መጡና «ልጆች፣ ይቺ መኪና ትንፋሽ አጠራት» አሉን። በሽታውን ነግረውን ነበር እኮ! የሰማቸው ግን የለም።

አለቃችን ካንዴላ ቀየረ። ትንሽ ተሻላት፣ ከዚያ ተመልሳ ያው ሆነች። ቀጥሎ የቤንዚን ፊልትሮ፣ ቀጥሎ ፓምፕ። ሁሉንም ከፈሉ፤ የጡረታ ደሞዝ መሆኑን አትርሱ። በመጨረሻ አለቃችን ቫኪዩም፣ ማለትም ሞተሩ አየር የሚስብበትን ኃይል፣ ለካና የመለኪያው ቀስት ዝቅ ብሎ ሲያገኘው «ሞተሩ አልቋል፣ ፒስተንና ፋሻ ነው» ብሎ ፈረደ። መጽሐፉ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ ሲዞር) ከ17 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ፣ የቫኪዩም መለኪያ ነው፣ ይላላ! ልክ ነው፣ ግን ያ ቁጥር ለባሕር ጠረፍ ነው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር በየ300 ሜትሩ አንድ ኢንች ያህል ይቀንሳል። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ከ10 እስከ 13 ያነበበ ሞተር ምንም አልሆነም። ዛሬም ቪዲዮ አይቶ በዚሁ ቁጥር የሰው ሞተር የሚያስወርድ ልጅ አውቃለሁ።

መምህሩ ደረት ኪሳቸው ውስጥ የማትጠፋ ትንሽ ደብተር ነበረቻቸው። ቤንዚን በቀዱ ቁጥር ሊትሩን፣ ኪሎ ሜትሩን፣ ከጎኑ ደግሞ አካፍለው የመጣላቸውን ይጽፋሉ። በዚያ ቀጥ ባለ የአስተማሪ ጽሑፍ። «እስቲ ይቺን እይልኝ» ብለው ለአለቃችን ሲዘረጉለት «ጋሼ፣ እኛ ሂሳብ ድሮ ነው የወደቅነው» ብሎ አሳቀን። እሳቸውም ፈገግ ብለው ወደ ኪሳቸው መለሷት።

አለቃችንን እያማሁ እንዳይመስላችሁ። ረጅም ካቻቢቴ ሞተሩ ላይ አስደግፎ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ የቱ ሲሊንደር እንደታመመ የሚነግር ሰው ነበር። እንደሱ ያለ ጆሮ ዛሬ የለም። የናንተ ጆሮማ በማዳመጫ ተይዟል።

መምህሩ መኪናዋን በርካሽ ሸጧት። ብዙም ሳይቆይ ገዢው ይዟት እኛው ጋ መጣ፤ የሰውየው ዕጣ ሆኖ። አለቃችን ስላልነበረ አንድ ሌላ መካኒክ ከታች ገባና ከካታላይዘሩ በፊት ያሉትን ቡሎኖች አላላቸው። ሞተሩ ሲነሳ ሰፈሩን በጩኸት ቀወጠው፣ ነዳጅ ሲሰጠው ግን ጭሱ መውጫ ስላገኘ ዙሩ ወዲያው ጨመረ። ካታላይዘሩን አውርደን በባትሪ ስናየው ቀዳዳ ቀዳዳ መሆን የነበረበት ሴራሚክ ፊቱ ቀልጦ ተዘግቷል። ምክንያቱ አንድ ያረጀ የካንዴላ ገመድ ነበር። አንዱ ሲሊንደር እየዘለለ ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ጭስ ማውጫው ይልካል፣ እዚያ ይነድዳል፣ ሴራሚኩን ያቀልጠዋል።

የዳሽቦርዱን ኪስ ስንከፍት ያች ደብተር እዚያው ተረስታለች። በሊትር 12 ኪሎ ሜትር ትሄድ የነበረች መኪና ከአንድ ገጽ ጀምሮ ወደ 9 ወርዳለች። ኃይሏ ከመጥፋቱ ብዙ ወራት ቀድሞ! መምህሩ ከቁጥሩ ሥር በቀይ አስምረውበታል። እሳቸውን ከዚያ በኋላ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመው አይቻቸዋለሁ። ዛሬም ትዝ ሲለኝ ያንገበግበኛል።

እና ልጄ፣ ባለመኪናውን ጠይቅ። ዘይት ትጨምራለህ ወይ? ውሃ ይጎድላል? ነዳጅ መብላት የጀመረችው መቼ ነው? የሞተር መብራቱ ብልጭ ድርግም ይል ነበር? ካታላይዘር ከመሬት ተነስቶ አይደፈንም፤ የደፈነውን ሳታገኝ አዲስ ብትገጥም አዲሱንም ትቀብረዋለህ።

ኮምፒውተሩ ፒ0420 የሚል የብልሽት ኮድ ስላሳየህ ብቻ ተደፍኗል አትበል። ያ ኮድ ጭሱን በደንብ እያጣራ አይደለም ነው የሚለው። ጭራሽ ተደፍኖ ምንም ኮድ የማያወጣም አለ። እኔ በኮድ ብቻ አላምንም፤ ጌጅ (የግፊት መለኪያ) ሳላስገባ አልፈርድም። ከካታላይዘሩ በፊት ያለውን ኦክስጅን ሴንሰር ፍታና በቦታው ጌጁን እሰር። በሚኒሞ ከ1.5 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው)፣ በደቂቃ 2,500 ዙር ላይ ደግሞ ከ3 ካለፈ ጭሱ መውጫ አጥቷል። ጌጁ ከሌለህ የቫኪዩም መለኪያውን አስረህ ዙሩን 2,500 ላይ ያዘው። ቀስቱ ቀስ በቀስ እየወረደ ከሄደ ያው ነው።

ሳይበርድ አትንካ ምናምን የሚለውን አልነግርህም፣ አንዴ ካቃጠለህ ራስህ ታውቀዋለህ። የዛገ ቡሎን ላይ ግን ዘይት ነፍተህ ጊዜ ስጠው፤ በጉልበት የምትሰብረው ቡሎን ቀንህን ይበላዋል። ጋስኬቱን አዲስ አድርግ። አዲሱ ካታላይዘር ላይ ያለው ቀስት የጭሱን መሄጃ ማሳየቱን እይ። ሲያልቅ የግፊት መለኪያውን መልሰህ አስገባና ግፊቱ መውረዱን አረጋግጥ።

ሆዱን ማውጣት ላልከው፣ መኪናዋ በርግጥ ትሮጣለች። ያ ሁሉ መርዝ ግን ሳይጣራ ከኋላ ለቆመው ሕዝብ ይደርሰዋል፣ የሞተር መብራቱም ይበራብሃል። ደግሞ ሆዱ ውስጥ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም አለ፤ «ቆሻሻ ነው፣ እኔ እጥልልዎታለሁ» እያሉ ወስደው የሚሸጡትን እናውቃቸዋለን። አሮጌውን በካርቶን አድርገህ ለባለመኪናው አስረክብ፤ መሸጥ ከፈለገ ራሱ ይሽጠው።