አደን ስወጣ ጫካ ውስጥ አጋዘኑ ቀድሞ እያየኝ ያመልጠኛል ላልከው ወንድሜ

ጥያቄህን አየሁት፣ "ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ስዞር እውላለሁ፣ የማየው ግን ሲፈረጥጥ ጭራውን ብቻ ነው" ብለሃል። አትፈር፣ እኔም መጀመሪያ አካባቢ እንደዛው ነበርኩ። ችግሩ "ስዞር" ያልካት ላይ ነው።

እንደዛ አይነት ጫካ ውስጥ አንተ ሳታየው እሱ ሰምቶህ አሽትቶህ ጨርሷል። ሁለት ሶስት እርምጃ ሂድና ቁም፣ ግንድ ተጠጋ፣ 5 ደቂቃ አንዳንዴም 10 ደቂቃ ዝም ብለህ እይ፣ ከዛ ደግሞ ሁለት ሶስት እርምጃ። በሰአት 100 ሜትር ከሄድክ ፈጥነሃል ባይ ነኝ፣ ቀልዴን አይደለም። ቅጠሉ ደርቆ የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አትሂድ፣ አጋዘኑ የሚመላለስበት መንገድ ላይ ቁጭ ብለህ ጠብቅ። ዝናብ ያባራበት ጠዋት ግን እንዳያመልጥህ፣ መሬቱ ርሶ ኮቴህ አይሰማም።

ሌላው፣ ሙሉ አጋዘን አትፈልግ! ቁራጭ ነው የምትፈልገው። ዛፉ ሁሉ ቀጥ ብሎ የቆመ ነው፣ የሱ ጀርባ ግን አግድም ነው፣ ስለዚህ አግድም መስመር ካየህ አይንህን እዛው ትከል። ጆሮ እርግብ ሲል፣ እርጥብ አፍንጫ ብልጭ ሲል፣ ወይ ከቁጥቋጦ ስር ቀጫጭን እግር። በርከክ ብለህ እይ፣ ከታች ቅጠሉ ሳሳ ይላል። ባይናኩላር ለሩቅ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፣ እኔ 30 ሜትር ላይ እጠቀመዋለሁ፣ ፎከሱን ከፊት ካለው ቅጠል አሳልፈህ ስታስተካክለው ቅጠሉ ይደበዝዝና ከኋላው ያለው ይወጣልሃል።

ነፋሱን ሁሌ ፊትህ ላይ አድርገው፣ ጠረንህ ወደ አጋዘኑ እንዳይሄድ። ተዳፋት ከሆነ ፀሀይዋ ሞቅ ስትል አየሩ ሽቅብ ይወጣል፣ ማታ ሲበርድ ቁልቁል ይወርዳል፣ ስለዚህ ረፈድ ሲል ከላይ፣ አመሻሽ ላይ ከታች ሆነህ ጠብቅ። ብርቱካናማ ሰደርያህን ደግሞ እንዳታወልቅ፣ አጋዘን ብርቱካናማን ከአረንጓዴ አይለይም፣ እንቅስቃሴህን ነው የሚያየው። ጫካው ውስጥ ያለው ሌላ አዳኝ ግን ቀለሙን ይለየዋል።

"ከባድ ጥይት ቁጥቋጦ ጥሶ ያልፋል" የሚሉህን አትስማ፣ የትኛውም ጥይት ጭራሮ ከነካ አቅጣጫው ሊስት ይችላል። ክፍተት እስክታገኝ ጠብቅ፣ ካላገኘህ ተወው። ስኮፕህንም (ጠመንጃው ላይ ያለውን ማነጣጠሪያ መነፅር) ዝቅተኛው ማጉያ ላይ አድርገው፣ አለበለዚያ ቅርብ ሲመጣ ፀጉር ብቻ ነው የምታየው።

ከተኮስክ በኋላ ያለው ነው ዋናው፣ እኔን ያቃጠለኝም እሱ ነው። አንዴ ተኩሼ ስጠጋ ደሙ ጠቆር ያለ፣ ፈርስ የተቀላቀለበት፣ ይሸታል። ሆዱን እንደመታሁት ገብቶኛል ግን መታገስ አቃተኝና ወዲያው ተከተልኩት፣ ሩቅ ሳይሄድ ተኝቶ ኖሮ ስደርስበት ተነስቶ ሄደ፣ ማታ ዝናብ ጣለና ደሙን አጠበው፣ በቃ አላገኘሁትም። አሁንም ድረስ ይከነክነኛል። ደሙ ሮዝና አረፋ ያለው ከሆነ ሳንባ ነው፣ ከመከተልህ በፊት ግማሽ ሰአት መጠበቅ ይበቃል። ጥቁር ቀይ ከሆነ ጉበት ነው፣ 3 ወይ 4 ሰአት ተወው። ፈርስ ካየህ ግን ቢያንስ ከ6 እስከ 8 ሰአት። ከተኮስክበት ቦታ ሳትነቃነቅ ደግሞ አጋዘኑ የቆመበትን ዛፍ በአይንህ በደንብ ያዝ፣ ስትደርስ ጨርቅ እሰርበት፣ ጥቅጥቁ ውስጥ ከገባህ ሁሉም ዛፍ አንድ ነው የሚመስለው።

አንተ የምታድንበት ተዳፋት ነው ወይስ ሜዳማ? ንገረኝና የት ብትቀመጥ እንደሚሻል እናወራለን።