ጥያቄና መልስ፦ ሊነክስ፣ ማክና ቢኤስዲ ፋይል ሲጋሩ የሚያጣላቸው ነገር

ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ ስለ ኤንኤፍኤስ፣ ማለትም በዩኒክስ ማሽኖች መካከል ፋይል በኔትወርክ ስለሚያጋራው ሥርዓት፣ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ። ሊነክስ ከማክ፣ ፍሪቢኤስዲ ከሊነክስ፣ እንደፈለጋችሁ ቀላቅሉ። ስትጠይቁ ግን ሦስት ነገር ጻፉልኝ። ሰርቨሩ (ፋይሉን የሚያጋራው ማሽን) ምንድን ነው? ክላየንቱ (የሚጠቀምበት ማሽን) ምንድን ነው? ስክሪኑ ላይ የወጣው መልእክት ቃል በቃል ምን ይላል? «አልሠራም» ለሚል ጥያቄ መልስ የለኝም። አንድ ነገር ደግሞ አስቀድሜ ልለምናችሁ። እባካችሁ ፎልደሩን 777 አታድርጉት፣ ማለትም ማንም እንዲጽፍበት አትክፈቱት።

ተርሚናል፦ ሰርቨሬ ዴቢያን ነው፣ ክላየንቴ ማክ። ሁለቱም ላይ የተጠቃሚ ስሜ አንድ ነው፣ ፓስወርዴም አንድ ነው። ማውንቱ፣ የሰርቨሩን ፎልደር ማክ ላይ ማገናኘቱ፣ ይሳካል፣ ፋይሎቹም ይታያሉ። ልጽፍ ስል ግን «ፐርሚሽን ዲናይድ» ይለኛል።

መልስ፦ እንዲህ ይጠየቃል! ከዚሁ እንጀምር፣ ዛሬ ከሚመጡት ጥያቄዎች ግማሹ ይኸው ነውና።

ኤንኤፍኤስ ስምህን አያውቅም። ፓስወርድህንም አይጠይቅም። ኦት ሲስ በሚባለው የተለመደ መንገድ ክላየንቱ ለሰርቨሩ የሚልከው ቁጥር ብቻ ነው፦ ዩአይዲ (የተጠቃሚ ቁጥር)፣ ጂአይዲ (የዋናው ግሩፕ ቁጥር) እና ያለህባቸው ግሩፖች ቁጥሮች። ሰርቨሩም አምኖ ይቀበላል። ማክ ላይ መጀመሪያ የሚፈጠረው ተጠቃሚ ቁጥሩ 501 ነው፣ ግሩፑ 20። ዴቢያን ላይ 1000። ፍሪቢኤስዲ ላይ አብዛኛውን ጊዜ 1001። ስለዚህ ከማኩ ስትመጣ ዴቢያኑ የሚያየው 501 የሚባል የማያውቀውን ሰው ነው። ፋይሉ የ1000 ነው። ለምን ያስጽፍሃል?

ሁለቱም ማሽን ላይ «አይዲ» ብለህ ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ጻፋቸው። ከዚያ ማኩ ላይ፣ ማውንት ባደረግከው ፎልደር ውስጥ፣ «ኤልኤስ» በ-ኤልኤን በል። ኤን የምትለዋ ፊደል ስሙን ትታ ቁጥሩን ታሳይሃለች። የባለቤቱ ዓምድ ላይ 1000 ካየህና «አይዲ» 501 ካለህ ነገሩ አለቀ፣ ሌላ ቦታ አትፈልግ።

መፍትሔው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ቁጥሮቹን አንድ ማድረግ ነው። ብዙ ሰው ካለ ከዚህ ሌላ አማራጭ የለም። ሊነክስ ላይ «ዩዘርሞድ» በ-ዩ ቁጥሩን ይቀይርልሃል፣ ግን ባለቤትነቱን የሚያስተካክለው ሆም ፎልደርህ ውስጥ ላሉት ፋይሎች ብቻ ነው። ሌላ ዲስክ ላይ ያሉትን በ«ቾውን» ራስህ ታስተካክላለህ። ሁለተኛው መንገድ ብቻህን ለምትጠቀምበት ሰርቨር ነው። ኤክስፖርቱ ላይ (ሰርቨሩ ምን ለማን እንደሚያጋራ የሚጻፍበት ቦታ) ኦል ስኳሽ ጨምር፣ አኖንዩአይዲንና አኖንጂአይዲን 1000 አድርግ። ከዚያ ማኩ ማንንም ይላክ፣ ሰርቨሩ ሁሉንም እንደ 1000 ይቆጥራል። ፍሪቢኤስዲ ላይ ይኸው ማፕኦል ይባላል። ከዚያ ማሽን የመጣ ማንኛውም ሰው በአንተ ስም እንደሚጽፍ ግን አትርሳ።

ሳምባ ወዳጅ፦ ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? ሳምባ የሚባለውን ሌላ የፋይል ማጋሪያ ጫኑና ተገላገሉ። ስም አለ፣ ፓስወርድ አለ፣ በቃ።

ዳይሞን፦ ዩኒክስ ከዩኒክስ ጋር ለማገናኘት ሳምባ? ምን አመጣው? ሲምሊንኩና ፐርሚሽኑ ሲዘበራረቅብህ አይደል በኋላ የምታለቅሰው?

ሳምባ ወዳጅ፦ እኔ እስካሁን አላለቀስኩም። ያለቀሰው ተርሚናል ነው።

መልስ፦ እናንተ ሰዎች! ሳምባ መጥፎ አይደለም። ክላየንቱ አንድ ማክ ላፕቶፕ ብቻ ቢሆን እኔም ሳምባን እመርጥ ይሆናል። የተጠየቅኩት ግን እሱን አይደለም። ቀጣይ።

አዲስ ገባ፦ ሰላም ጋሼ፣ ኤንኤፍኤስ እምቢ አለኝ፣ እባክዎ ይርዱኝ።

መልስ፦ የመጀመሪያውን አንቀጽ አንብብ።

ቀይ ኮፍያ፦ ሁለቱም ሊነክስ ናቸው፣ ቨርዥን 4። ፋይሎቹ ሁሉ ባለቤታቸው «ኖባዲ» ሆኖ ነው የሚታየኝ። የሚገርመው ግን መጻፍ እችላለሁ። ይህ እንዴት ይሆናል?

መልስ፦ ይኼኛው ደስ የሚል ጥያቄ ነው። ቨርዥን 4 ላይ ባለቤትነት ለዕይታ የሚላከው በጽሑፍ ነው፣ ኢሜይል በሚመስል መልክ፦ ስም፣ ከዚያ ዶሜይን። ሰርቨሩ አንድ ዶሜይን ብሎ ከላከና ክላየንቱ ሌላ ከጠበቀ ስሙን አላውቀውም ይልና «ኖባዲ» ብሎ ይጽፍልሃል። ፈቃዱ የሚመረመረው ግን በሌላ በር ነው። እያንዳንዱ ጥያቄ ሲላክ አብሮት የሚሄደው ያው ቁጥርህ ነው፣ ልክ እንደ ቨርዥን 3። ቁጥርህ ከገጠመ ትጽፋለህ፣ ስምህ ምንም ይታይ። ተቃራኒውም አለ። ስሙ አምሮ የአንተ ሆኖ ይታያል፣ መጻፍ ግን አትችልም። ሰው የሚያብደው ያኔ ነው። አሁንም እላለሁ፣ ስሙን ትታችሁ ቁጥሩን እዩ።

ማስተካከያው፦ ሁለቱም ማሽን ላይ ኢቲሲ ውስጥ ያለውን አይዲማፕዲ ኮንፍ ክፈትና ዶሜይን የሚለውን መስመር አንድ ዓይነት አድርገው። ከዚያ ክላየንቱ ላይ «ኤንኤፍኤስ አይዲማፕ» በ-ሲ በል፣ የድሮውን ትውስታ ያጸዳዋል። ይህን ረስተው «ቀየርኩት፣ አልሠራም» የሚሉ ብዙ ናቸው። ፍሪቢኤስዲ ካለህበት ስምና ቁጥር የሚያዛምደው ኤንኤፍኤስዩዘርዲ መነሳቱን እይ።

አዲስ የፈጠርካቸው ፋይሎች ብቻ የ65534 ከሆኑ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ሩት፣ ማለትም ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ፣ ሆነህ ነው የጻፍካቸው ማለት ነው። ወደዚያ እመጣለሁ።

ሱዶ፦ እዚያው ላይ ልግባ። ክላየንቱ ላይ ሩት ነኝ። ሩት ሆኜ ፎልደር መክፈት ተከለከልኩ። ቀልድ ነው?

መልስ፦ ሩት ስኳሽ ነው፣ ሰርቨሩ ከክላየንት የመጣን ሩት ሥልጣን የሚነጥቅበት ሕግ። ያንተ ሩት እዚያ ማሽን ላይ ማንም አይደለም። እንደዚያም ነው መሆን ያለበት።

ሱዶ፦ ታዲያ ኖ ሩት ስኳሽ ልጨምርበት?

መልስ፦ አይሆንም! ያን ጊዜ ክላየንቱ ላይ ሩት የሆነ ሰው ሁሉ የሩት ሴትዩአይዲ ያለበት (ማንም ቢያስነሳው በሩት ሥልጣን የሚሠራ) ፕሮግራም ሰርቨርህ ላይ ያስቀምጣል። ከዚያ ሰርቨሩ ላይ ተራ አካውንት ያለው ሰው ያንን አስነስቶ ሩት ይሆናል። አንድ ፋይል ለመክፈት ብለህ ቤቱን ሙሉ ታስረክባለህ። ዲስክ ለሌላቸው፣ በኔትወርክ ለሚነሱ ማሽኖች ያስፈልግ ይሆናል። አንተ ግን አያስፈልግህም።

ፖም፦ ከማክ ወደ ኡቡንቱ ማውንት ሳደርግ «ኦፕሬሽን ኖት ፐርሚትድ» ይላል። ኤክስፖርቱ ላይ አይፒዬ አለ፣ መቶ ጊዜ አየሁት።

መልስ፦ የፖርት ነገር ነው። የሊነክስ ሰርቨር ጥያቄው ከ1024 በታች ከሆነ ፖርት እንዲመጣ ይጠብቃል፣ ማክ ደግሞ ሳይነገረው ከላይኛው ነው የሚነሳው። ማውንት ስታደርግ በ-ኦ «ሬዝቭፖርት» ጨምር። ወይም ሰርቨሩ ላይ «ኢንሴኪዩር» በል። ስሙ ያስፈራል እንጂ ዛሬ ላፕቶፑ የራሱ የሆነ ሰው ሁሉ ዝቅተኛውን ፖርት መጠቀም ይችላል። እኔ ሬዝቭፖርትን እመርጣለሁ፣ ሰርቨሩ ሳይነካ ያልቃል።

ዳይሞን፦ የሊነክሱን ኤክስፖርትስ ፋይል ፍሪቢኤስዲ ላይ ለጠፍኩት፣ ማውንትዲ «ባድ ኤክስፖርትስ ሊስት ላይን» እያለ ሎጉን ሞላው።

መልስ፦ ስሙ አንድ ነው እንጂ አጻጻፉ አይገናኝም። ሊነክስ አማራጮቹን በቅንፍ ከአድራሻው ጋር ይለጥፋቸዋል። ፍሪቢኤስዲ በሰረዝ ነው፦ -ኔትወርክ፣ -ማፕሩት እያለ። ደግሞ አንድ ፋይልሲስተም ላይ ያሉ ፎልደሮችን ለአንድ ክላየንት ስታጋራ ሁሉንም አንድ መስመር ላይ ጻፋቸው። በሁለት መስመር ከከፋፈልካቸው ያንኑ ስህተት ይሰጥሃል። ቨርዥን 4 ከፈለግህ በቪ4 የሚጀምር መስመርም አትርሳ። ከዚያ «ሰርቪስ ማውንትዲ ሪሎድ»።

ሊነክሶችም አትሳቁ። እናንተ ጋ አንዲት ባዶ ቦታ ታዋርዳለች። አድራሻውንና ቅንፉን አጣብቃችሁ ካልጻፋችሁ፣ ማለትም መሃላቸው ስፔስ ከገባ፣ ትርጉሙ ይገለበጣል። ለጻፋችሁት አድራሻ የተለመደው፣ ማንበብ ብቻ። በቅንፍ ውስጥ ያለው የመጻፍ ፈቃድ ደግሞ ለዓለም ሁሉ። ማስጠንቀቂያ ቢጽፍ እንኳ ስህተት ነው ብሎ አይቆምም፣ ይሠራል። «ኤክስፖርትኤፍኤስ» በ-ቪ ብላችሁ ሰርቨሩ የተረዳውን አንብቡ። እናንተ የጻፋችሁትን ሳይሆን እሱ የተረዳውን።

አስር ጣት፦ ሰርቨሬ ፌዶራ፣ ክላየንቴ ማክ። ማውንት ሆኗል፣ መጻፍ ግን አልተቻለም። ፐርሚሽን ዲናይድ። ፋየርዎሉን አጠፋሁት፣ 777ም አደረግኩት፣ አሁን ይጽፋል፣ ግን የጻፍኩት ሁሉ ባለቤቱ 501 እየሆነ ሰርቨሩ ላይ ማስተካከል አልቻልኩም።

መልስ፦ አይጥ በበላ ዳዋ ይመታል አሉ። ፋየርዎሉ ምን አደረገህ? ማውንቱ ከተሳካ እኮ አሳልፎሃል። መልሰህ አብራው። 777ቱንም መልስ። ከመጀመሪያው ጀምሬ የለመንኩት ይህንኑ ነው። እሱ በሩን ለሁሉ ከፈተ እንጂ ማንነትህን አላስተካከለም፣ ለዚህ ነው ፋይሎቹ የ501 የሆኑት። የተርሚናልን መልስ ከላይ አንብብ። ቁጥር ነው፣ ቁጥር!

ቀይ ኮፍያ፦ ፌዶራ ከሆነ ተጨማሪው የጥበቃ ሥርዓት ኤስኢሊነክስስ? እሱም ይከለክላል።

መልስ፦ ይከለክል ይሆናል። የእኔ ሰፈር አይደለም፣ አንተ መልስለት።

ገንዳ፦ ሰርቨሩ ኡቡንቱ፣ ፋይልሲስተሙ ዜድኤፍኤስ። ዋናውን ፎልደር ኤክስፖርት አደረግኩ። ክላየንቱ ላይ «ፎቶ» እና «ሰነድ» የሚሉት ፎልደሮች ይታያሉ፣ ውስጣቸው ግን ባዶ ነው። ዳታዬ ጠፋ?

መልስ፦ አልጠፋም፣ ተረጋጋ። እነዚያ ፎልደሮች ዜድኤፍኤስ ዳታሴት የሚላቸው ናቸው፣ እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ ፋይልሲስተም። አባትየውን ስታጋራ ልጆቹ አብረው አይሄዱም። ክላየንቱ ያየው ከሥራቸው ያለውን ባዶ የማውንት ቦታ ነው። ዋናው ኤክስፖርት ላይ ክሮስማውንት ጨምር፣ ወይም እያንዳንዱን ለብቻው ኤክስፖርት አድርግ። እስከዚያ ግን እዚያ ባዶ ፎልደር ውስጥ ምንም አትጻፍ። ከላይ ማውንት ስለተደረገበት ሰርቨሩ ላይ አይታይህም፣ በኋላ ደግሞ ፋይሌ የት ገባ ትለኛለህ።

ሱዶ፦ ሰርቨሩ ሲጠፋ ክላየንቱ ድርቅ ይላል። «ዲኤፍ» ስል እንኳ ይቆማል። ሶፍት ማውንት አድርግ ተባልኩ።

ሳምባ ወዳጅ፦ አዎ ሶፍት አድርገው፣ እኔ ሁሌም እንደዚያ ነው።

ዳይሞን፦ አንተ እኮ ሳምባ ነህ፣ ሁሌም የምትለው ከየት መጣ?

ሳምባ ወዳጅ፦ ሁለቱንም መጠቀም ክልክል ነው እንዴ?

መልስ፦ ጨረሳችሁ? ሃርድ ማለት ሰርቨሩ እስኪመለስ ጠብቅ ማለት ነው። ሲመለስ ሥራው ካቆመበት ይቀጥላል። ሶፍት ሲሆን የተወሰነ ጊዜ ሞክሮ ተስፋ ይቆርጥና ለፕሮግራሙ ስህተት ይመልሳል። ስንት ፕሮግራም ነው መጻፉ መሳካቱን በደንብ የሚያጣራው? ፋይሉ ግማሹ ተጽፎ ይቀራል፣ አንተም የምታውቀው ወር ቆይተህ ስትከፍተው ነው። ለምትጽፍበት ነገር ሃርድ። ለንባብ ብቻ ከሆነ ሶፍትም ይሁን፣ አልጣላም። መድረቁን ከጠላህ አውቶማውንት ተጠቀም፣ ሳትነካው አይገናኝም። «ኢንተር» የሚለውን አማራጭ ከድሮ ጽሑፍ ገልብጠህ ከሆነ አውጣው፣ ከሊነክስ ከርነል 2.6.25 ጀምሮ ምንም አይሠራም።

ተርሚናል፦ ቁጥሩን አስተካከልኩ፣ ሠራ! አሁን ግን አንድ ግሩፕ ብቻ እምቢ አለኝ። የሌሎቹ ፎልደሮች ይከፈቱልኛል።

መልስ፦ ስንት ግሩፕ ውስጥ ነህ? ኦት ሲስ የሚሸከመው 16 ብቻ ነው። ከዚያ ያለፈው ተቆርጦ ይቀራል፣ ማንም አይነግርህም። ሰርቨሩ ሊነክስ ስለሆነ ማውንትዲን በማኔጅ ጂአይዲስ አስነሳው፣ ግሩፖቹን ራሱ ሰርቨሩ ላይ ይፈልጋቸዋል።

ፖም፦ ከቤት ውጭ ሆኜ እንድጠቀምበት ፖርት 2049ን ለኢንተርኔት ልክፈተው?

መልስ፦ አይ። ዋየርጋርድ የሚባለውን ቪፒኤን ተጠቀም።

ኬብል፦ ሁለቱም ሊነክስ፣ ቨርዥን 4.2፣ ቲሲፒ። ማውንት ይሠራል። ትንሽ ፎልደር ላይ «ኤልኤስ» ይሠራል። ብዙ ፋይል ያለበት ፎልደር ላይ ግን ይንጠለጠላል። ትልቅ ፋይልም ኮፒ አይሆንም። «ፒንግ» ግን ችግር የለውም። ሎጉ «ሰርቨር ኖት ሬስፖንዲንግ» ይላል።

መልስ፦ ተባረክ፣ የዛሬውን ምርጥ ጥያቄ ያመጣኸው አንተ ነህ። ትንሹ አልፎ ትልቁ ሲቀር ኤምቲዩን፣ በአንድ ፓኬት የሚያልፈውን ትልቁን መጠን፣ ጠርጥር። ማሽኖቹ ላይ ጃምቦ ፍሬም፣ 9000፣ ተደርጎ መሃላቸው ያለው ስዊች 1500 ላይ ቀርቶ ይሆናል። ተራ ፒንግ የሚልከው ጥቂት ባይት ስለሆነ ይህን አያሳይህም። ሰርቨሩን ከክላየንቱ በ-ኤም ዱ፣ በ-ኤስ 8972 ፒንግ አድርገው። ኤም ዱ ማለት ፓኬቱን አትክፈል ማለት ነው። 8972 ደግሞ ከ9000 ላይ የአይፒውና የአይሲኤምፒው ሄደር 28 ባይት ተቀንሶ ነው። መልስ ካልመጣ 1472 ሞክር። እሱ ካለፈ መሃል ላይ ያለ አንድ ነገር 9000ውን አይቀበልም። ከሁለቱም አቅጣጫ ሞክረው፣ በአንዱ በኩል ብቻ የሚቀር አለ።

ኬብል፦ 8972 ዝም አለ፣ 1472 ወዲያው መለሰ። ሁለቱም ካርድ ላይ 9000 ነው ያለው ግን።

መልስ፦ እንግዲያው ስዊቹ ነው። ጃምቦ የሚባለውን ሴቲንግ ፈልግ፣ አንዳንዱ ላይ ለየፖርቱ ለብቻው ነው የሚበራው። ካጣኸው ሁለቱንም ካርድ ወደ 1500 መልሳቸው። ከዚያ ማውንቱን አውርደህ እንደገና ስቀልና ያንን ትልቅ ፎልደር «ኤልኤስ» በለው።