ሥዕሉ ቆንጆ ነው፤ ከዚያስ?

ጥያቄ፦ «22 ዓመቴ ነው፣ የምኖረው ደሴ ነው። አካውንቲንግ እማራለሁ፤ ለመመረቅ አንድ ሴሚስተር ቀርቶኛል። ከልጅነቴ ጀምሮ እሥላለሁ። አሁን ለአጫጭር አኒሜሽኖች ስቶሪቦርድና የገጸ ባሕርይ ዲዛይን መሥራት እፈልጋለሁ። ሕልሜ ‹ፍቅር እስከ መቃብር›ን በአኒሜሽን መሥራት ነው። እናቴ ‹ሥዕል እንጀራ አይሆንም› ትለኛለች። ትምህርቴን ትቼ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ልግባ? ሥራውስ እዚህ አገር አለ? 14 ሥዕሎች ልኬያለሁ፣ አይተው ይንገሩኝ።»

መልስ፦ ሥዕሎችሽን ሁለት ጊዜ አየኋቸው። እጅሽ ጥሩ ነው። ይህን መጀመሪያ ያዢልኝ፤ ቀጥሎ የምለው ትንሽ ሊያስከፋሽ ይችላል።

ከአንዷ በቀር (እሷን መጨረሻ ላይ አነሣታለሁ) ሁሉም ፊት ናቸው። ቆንጆ ቆንጆ ፊት። ሹሩባው ጉንጉን በጉንጉን ተሥሏል። አንዳቸውም ግን ምንም አያደርጉም። ፎቶ ቤት የገቡ ይመስል ቀጥ ብለው ያዩኛል። ልጆች ሆነን ተረት ሲነገረን አፍ አፉን እያየን የምንጠይቀው አንድ ነገር ነበር፦ «ከዚያስ?» ስቶሪቦርድ ማለት ፊልሙ ከመሠራቱ በፊት ታሪኩን በተርታ ሣጥኖች የሚያሳይ ሥዕል ነው፤ የሚሠራው ሰው የሚከፈለው ይህችን ጥያቄ ስለሚመልስ ነው። ሥዕሉ ማማሩ ትርፍ ነው።

ዛሬ የምናውቀው ስቶሪቦርድ መልክ የያዘው በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ በዋልት ዲዝኒ ስቱዲዮ ነው። ሠራተኞቹ ትዕይንቱን በየወረቀቱ ሥለው ግድግዳ ላይ በፒን ይሰቅሉት ነበር። ፒኑ ትንሽ ነገር እንዳይመስልሽ። ያልተሳካው ወረቀት ይነቀላል፣ ቦታው ይቀየራል፣ ይጣላል። ስለዚህ አንድ ሣጥን ላይ ሦስት ሰዓት የምትፈጂ ከሆነ ሲነቀል ታለቅሻለሽ። አምስት ደቂቃ የፈጀብሽ ግን ቢነቀልም ግድ አይሰጥሽም።

ነገሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። የባህል ዕቃ መሸጫዎች ውስጥ የንግሥተ ሳባና የንጉሥ ሰሎሞንን ታሪክ በተርታ ሣጥኖች የሚያሳየውን ሥዕል አይተሽዋል። ብዙ ጊዜ 44 ሣጥን ነው። ሂጂና እንደ ባለሙያ እዪው። ሠዓሊው ከመንገዱ የቱን ዘለለ? የቱ ላይ ቆየ? የንጉሡ ግብዣ ስንት ሣጥን ወሰደ? ሌሊቱስ? እነዚህን ጥያቄዎች መጠየቅ ከቻልሽ ሥራውን ጀምረሻል ማለት ነው።

ወደ ገጸ ባሕርይ ዲዛይን ልምጣ፤ የታሪኩ ሰዎች ምን እንደሚመስሉ ወደ መወሰኑ። በድሮው የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን የጻድቁ ሁለቱም ዓይኖች ይታያሉ። ክፉው በጎን ይሣልና አንድ ዓይን ብቻ ይተዉለታል። ማንበብ የማይችል ሰው ከሩቅ ሆኖ ማን ማን እንደሆነ ይለያል። ለእኔ የገጸ ባሕርይ ዲዛይን ሀሁ ይህ ነው። አንቺም ሞክሪው፦ የሣልሻትን ሴት ከራስ እስከ እግሯ ጥቁር ቀቢያት። ጥላዋ ብቻ ቀርቶ ማን እንደሆነች ከታወቀች ዲዛይኑ ሠርቷል። የአንቺን 13 ሴቶች ጥቁር ብንቀባቸው አንዲት ሴት ይሆናሉ።

ልዩነቱን ከየት ታመጫለሽ? ከአቋምና ከአለባበስ። ነጠላ ለለቅሶና ለሠርግ እኩል አይለበስም። አደግድጎ የቆመ ሰውና ጋቢውን ተከናንቦ የተቀመጠ ሰው አንድ ቃል ሳይወጣቸው ማን አሽከር፣ ማን ጌታ እንደሆነ ይነግሩሻል። ደሴ ገበያ ላይ አንድ ጠዋት ቁጭ በይ። ፊት አትሣዪ። ጀርባ ሣዪ፣ ሸክም ሣዪ፣ ዋጋ የሚከራከር ሰው እጅ ሣዪ።

እዚህ ላይ አካውንቲንግሽ ይጠቅመናል። አኒሜሽን በሰከንድ 24 ፍሬም (ተከታትሎ የሚያልፍ ምስል) ነው። በእጅ ሲሠራ ብዙ ጊዜ አንዱ ሥዕል ለሁለት ፍሬም ያገለግላል፤ ስለዚህ በሰከንድ 12 ሥዕል እንበል። የ3 ደቂቃ ፊልም 180 ሰከንድ ነው። ይኸው 2,160 ሥዕል። ገጸ ባሕርይዋም አንዲት ብቻ ከሆነች ነው። አሁን ያንን ክር በክር የሠራሽውን የሐበሻ ቀሚስ ጥለት 2,160 ጊዜ አስቢው። አኒሜተሩ ይረግምሻል። ሦስት መስመርና አንድ ቀለም ይበቃል። ገጸ ባሕርይዋን በኮምፒውተር እንደ አሻንጉሊት ቆራርጦ ማንቀሳቀስም አለ፣ ድካሙን ይቀንሳል። ያም ሆኖ ቀለል ያለ ዲዛይን ሁልጊዜ ያሸንፋል።

አሁን ዋናው ጋ ደረስን፤ ልብ ወለድን ወደ ሥዕል መመለስ። አብዛኛው ወጣት የሚሰናከለው እዚህ ነው። ችግሩ የእጅ ሳይሆን የማንበብ ነው።

አንድ ዓረፍተ ነገር ልፍጠር፦ «ከዚያን ቀን ወዲህ እናቱን አላመናትም።» ሣዪው። ይህን ለሥልጠና ሳቀርብ ከአሥሩ ዘጠኙ ፊቱን ያጨማደደ ልጅ ይሥሉልኛል። የተቆጣ ልጅ ሁሉ ግን እናቱን ያላመነ አይደለም። እኔ ብሆን ወደ ኋላ እመለሳለሁ። ቀደም ባለ ትዕይንት ላይ እናት ሻይ ታቀርባለች፣ ልጁ ከደብተሩ ቀና ሳይል ይጠጣል። ማንም ልብ አይለውም። ኋላ ላይ ያው ጠረጴዛ፣ ያው ብርጭቆ፣ ካሜራውም ቅንጣት ሳይነቃነቅ እዚያው። ልጁ ብርጭቆውን ያያል። እናቱን ያያል። ከዚያ ይጠጣል። አለቀ። ደራሲው በአንድ መስመር የነገረንን እኛ ቀድመን በዘራነው ሻይ አሳየን። ካሜራው ቦታ ቢቀይር ኖሮ ተመልካቹ ሁለቱን ሻዮች አያገናኛቸውም ነበር።

ሰምና ወርቅ አይሣልም፣ አትድከሚ። ቅኔው ሲነገር የሰሚው ፊት ምን እንደሚሆን ግን ይሣላል።

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን በተመለከተ እውነቱን ልንገርሽ። መጽሐፉ ከ500 ገጽ በላይ ነው፤ ለአጭር አኒሜሽን የሚሆን አይደለም። ሌላው ጉዳይ ሕግ ነው። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራው ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ወደ ፊልም መለወጥም የመብቱ ባለቤት ፈቃድ ይጠይቃል። ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ቁጭ ብለሽ አስዪው፣ ገና ብዙ ይቀራል። ለልምምድ ቤትሽ ሣዪ፣ ማንም አይከስሽም። ሠርቼ ላውጣው ካልሽ ግን መጀመሪያ ወራሾቹን አነጋግሪ።

በነፃ የምትሠሪበት ከፈለግሽ «ጦቢያ» አለልሽ። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ያሳተሙት ልብ ወለድ ነው። እሳቸው እ.ኤ.አ. በ1947 ስላረፉ 50 ዓመቱ ካለፈ ቆይቷል። ለዲዛይነር ደግሞ ድግስ ነው። መንትዮች አሉ፤ ዋህድና ጦቢያ። ዋህድ በባሪያ ፈንጋዮች እጅ ይወድቃል፣ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ፍለጋ ትወጣለች። በይ እንግዲህ። ተመልካቹ ሴት መሆኗን እያወቀ፣ ፊልሙ ውስጥ ያሉት ሰዎች ግን ሳያውቁ እንዴት ትሥያታለሽ? ከመንትያዋ የሚያመሳስላት ምንድን ነው? ብቻዋን ስትሆንና ሰው ፊት ስትሆን አካሄዷ ይለወጣል? የቃል ተረትም ጥሩ ነው፤ አንዱ ጸሐፊ በራሱ አጻጻፍ ያሳተመውን ገልብጠሽ እንዳትወስጂ ብቻ።

ሥራ አለ ወይ? አለ፣ ግን ቋሚ ደመወዝ ያለው ጥቂት ነው። አብዛኛው በፕሮጀክት ነው። ማስታወቂያ ድርጅቶች፣ የጤና መልእክት የሚያሠሩ መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች፣ የሕፃናት ፕሮግራም አዘጋጆች፣ የመጽሐፍ አሳታሚዎች ይፈልጋሉ። ፀሐይ የምትባለዋን ቀጭኔ በቲቪ እያዩ ያደጉ ልጆች ዛሬ ወጣቶች ሆነዋል። ኢታን ኮሚክስ የተባለው የሥዕላዊ ታሪክ አሳታሚ ደግሞ ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ጀምበር የተባለ ኢትዮጵያዊ ጀግና በአማርኛና በእንግሊዝኛ አውጥቷል። ከውጭ በኢንተርኔት የሚመጣ ሥራም አለ። ያኔ መጀመሪያ የምትጠይቂው ገንዘቡ በምን መንገድ እንደሚደርስሽ ይሁን።

እኔም አማካሪ ከመሆኔ በፊት ለማስታወቂያ ስቶሪቦርድ እሥል ነበር። አንድ ድርጅት፣ ስሙ ይቅር፣ «ለሙከራ» ብሎ 20 ሣጥን አሠራኝ። ከዚያ ስልኬን ማንሣት ተወ። ከሁለት ወር በኋላ ቡና እየጠጣሁ ቲቪ ላይ አየሁት፤ ሣጥን በሣጥን የእኔ ሥራ። ተሸወድኩ። ውል አልነበረኝማ። ከዚያ ወዲህ ስንት ሣጥን እንደምሠራ፣ እርማት ስንት ጊዜ እንደምቀበል (ሁለቴ ይበቃል)፣ ቅድሚያ ስንት እንደሚከፈለኝ፣ የፈጠርኳቸው ገጸ ባሕርያት የማን እንደሚሆኑ ሳይጻፍ እርሳስ አላነሣሁም።

ትምህርትሽን አትተዪ። አንድ ሴሚስተር ምን አላት? ሒሳቡን የሚይዝ ሠዓሊ ብርቅ ነው፤ የማውቃቸው አብዛኞቹ ማን ስንት ሊከፍላቸው እንደሚገባ እንኳ አያውቁም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው፣ በሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም የተመሠረተው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ጥሩ ነው፤ ሰውነትን፣ ብርሃንን፣ ትዕግሥትን ያስተምርሻል። ከተመረቅሽ በኋላም ልብሽ ከፈለገው ሞክሪ። ስቶሪቦርድ ለመጀመር ግን የግድ አይደለም። የምትወጂውን ፊልም ድምፁን አጥፊና አንድ ትዕይንት እያስቆምሽ እያንዳንዱን ሾት (ካሜራው ሳይቋረጥ ያሳየውን ቁራጭ) በትንሽ ሣጥን ቅጂው። ካሜራው ለምን እዚያ እንደቆመ ከጎኑ ጻፊ። በሳምንት አንድ ትዕይንት።

መሣሪያን በተመለከተ፦ በስልክሽ ብትሠሪም ችግር የለውም። ኮምፒውተር ስታገኚ ክሪታ (ለመሣል) እና ስቶሪቦርደር (ለስቶሪቦርድ) የተባሉት ሶፍትዌሮች ነፃ ናቸው፣ ለአኒሜሽን የሚሆነው ብሌንደርም እንዲሁ። ያልከፈልሽበትን ውድ ሶፍትዌር ሰብረሽ አትጫኚ። ደብተርና እርሳስም ይሠራል።

ለእናትሽ ሥዕል አታሳዪያቸው። ሥዕልሽንማ አይተውታል። ከአንድ ትንሽ ሥራ የተከፈለሽን ደረሰኝ አሳዪያቸው። ሰፈርሽ ውስጥ ካለ መዋዕለ ሕፃናት ወይም ሱቅ ቢሆንም ይሁን።

ለቀጣሪ የምትልኪው ደግሞ እነዚህን ፊቶች አይሁን። ከ«ጦቢያ» አንድ ገጽ ውሰጂና በ12 ሣጥን ሥሪው፣ በቀላል እርሳስ። ጦቢያን በፊት፣ በጎንና በጀርባ፣ አጠገቧ ከሚቆሙት ሰዎች ጋር ቁመቷን አስተያይተሽ ሣያት። ስትፈራ፣ ስትዋሽ፣ ሲደክማት። ከዚያ ሣጥኖቹን በስልክሽ ፎቶ አንሥተሽ በተርታ አስኪጂያቸው፤ የራስሽን ድምፅ ቅጂበት። ይህ አኒማቲክ ይባላል። አንድ ደቂቃ ይበቃል። ታሪኩን ለማያውቅ ሰው አሳዪው፣ ምንም አታስረጂ፣ ያየውን መልሶ ይንገርሽ። የተሳሳተበት ቦታ የሚነቀለው ሣጥን ነው።

ከላክሻቸው መካከል 9ኛዋ ላይ ቆየሁ። ጀበናውን ይዛ፣ አንገቷን ትንሽ ወደ በሩ ያዞረችው ሴት። ረከቦቱ ላይ ሦስት ሲኒ አለ፣ ቤት ውስጥ ግን እሷ ብቻ ናት። ማንን ነው የምትጠብቀው? በሩ ሲንኳኳ ጀበናውን ታስቀምጣለች ወይስ ይዛው ትነሣለች? የሚቀጥሉትን አምስት ሣጥኖች ሥለሽ ላኪልኝ።