ቀብዱን ከመስጠትሽ በፊት የቤቱን ልጆች ቁጠሪ

«ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? ነርስ ነኝ፤ ባለቤቴ መምህር ነው። ማራኪ ሰባት ዓመት ተከራይተን ኖርን። ሁለት ልጆች አሉን። አከራያችን ዘንድሮ ብቻ ሁለቴ ጨመሩብን። ዕቁብ ወጣልን፣ ከቁጠባ ማኅበርም ተበደርን፣ ወንድሜም ደገፈን። ባለፈው ሳምንት አንድ ደላላ በአዘዞ በኩል ቤት አሳየን። ብሎኬት ነው፣ ሦስት ክፍል፣ ሰርቪስ አለው፣ 200 ካሬ። 4 ሚሊዮን 200 ሺህ ተባልን። ሻጩ አዛውንት ናቸው፤ ሚስታቸው ከሦስት ዓመት በፊት ሞተዋል። ካርታው በስማቸው ነው፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ደላላው ግን ‹ለጥምቀት ከአሜሪካ የመጣ ሰው ቅዳሜ በካሽ ሊወስደው ነው፤ ዛሬ 300 ሺህ ቀብድ ካላስያዛችሁ አለቀ› ይላል። ውሉ ላይ ደግሞ ዋጋው 1 ሚሊዮን 500 ሺህ ተብሎ ይጻፍ አሉን፤ ለግብር ነው አሉ። ባለቤቴ እንስጥ ይላል። እኔ እንቅልፍ አጣሁ። ምን ይመክሩኛል?»
የሁለት ልጆች እናት፣ ከጎንደር፣ ማራኪ

ልጄ፣ እንቅልፍ ያጣሽው በከንቱ አይደለም። ቀብዱን ዛሬ አትስጪ። ቤቱን ተዪው ግን አላልኩሽም።

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። አንቺን ያስጨነቀሽ ዋጋውና ቅዳሜ ናቸው። እኔን ያስጨነቀኝ ግን መሃል ላይ እንደዋዛ ያለፍሽው ነገር ነው፤ «ሚስታቸው ከሦስት ዓመት በፊት ሞተዋል» ያልሽው።

ካርታ ላይ የአንድ ሰው ስም ስላለ ቤቱ የአንድ ሰው ነው ማለት አይደለም። በትዳር ውስጥ የተፈራ ንብረት በባል ስም ብቻ ቢመዘገብም፣ የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የባልና የሚስት የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። የቤተሰብ ሕጉ እንዲህ ነው የሚለው። አዛውንቱ ይህን ቤት ከሚስታቸው ጋር ሠርተውት ከሆነ ግማሹ የሟች ነው። ሟች ኑዛዜ ካልተዉ ያ ግማሽ ለልጆቻቸው እኩል እኩል ይደርሳል። በእኛ አገር ውርስ ሕግ፣ ኑዛዜ ከሌለ ባል ሚስቱን አይወርስም፤ ሚስትም ባሏን አትወርስም። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። እናም ልጆቹ አምስት ቢሆኑ አንቺ ፊት ያሉት ሻጮች ስድስት ናቸው። ያየሽው ግን አንዱን ብቻ ነው።

የራሴን ልንገርሽ። ፍርድ ቤት በር ላይ ጥላ ዘርግቼ ማመልከቻና ውል ስጽፍ 26 ዓመት ኖሬያለሁ። ገና ስጀምር እናታችን አረፈች። በሁለተኛው ዓመት አባታችን ቤታችንን ሸጡ። ክፋት አልነበራቸውም፤ የገዛ ቤታቸው መሰላቸው። ውሉን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ታናሽ እህቴ ያኔ ዐረብ አገር ነበረች። ፊርማዋን የጠየቀ የለም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ስትመለስ «የእናቴ ድርሻ የት አለ?» አለች። ክስ ተመሠረተ።

ገዢው ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ ልጅ ነበር። አራት ዓመት ተመላለሰ። አንድ ቀን ችሎት ደጃፍ አገኘሁት። ውሉን በፌስታል ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ይዞታል። እየፈታ መልሶ ከማጠፉ ብዛት ወረቀቱ በእጥፋቱ ተቀዶ፣ በፕላስተር ተለጥፏል። የእጅ ጽሑፌን አየሁት። «ጋሼ፣ እኔ ምን አጠፋሁ?» አለኝ። የምመልስለት አልነበረኝም። በመጨረሻ በሽምግልና አለቀ። እኛ ወንድሞቿ አዋጥተን የእህታችንን ድርሻ ከፈልን፤ ልጁም ቤቱን አገኘ። አራቱን ዓመት ግን ማን ይመልስለታል? ከዚያ ወዲህ ውል ላስጽፍ ብሎ የመጣን ሰው ሁሉ መጀመሪያ የምጠይቀው «እናትየው አሉ? ልጆች ስንት ናቸው?» እያልኩ ነው።

ስለዚህ አዛውንቱን በአክብሮት የወራሽነት ማስረጃ ጠይቂያቸው። የሚሰጠው ፍርድ ቤት ነው። ካላወጡ ያውጡ። እዚያ ላይ ስማቸው የሰፈረው ልጆች በሙሉ ውሉ ላይ ይፈርሙ። ውጭ ያለ ልጅ ካለ በኢትዮጵያ ኤምባሲ በኩል ውክልና ይላክ፤ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርም ይረጋገጥ። ውክልናውን ደግሞ ራስሽ አንብቢው። «ንብረቴን ያስተዳድርልኝ» የሚል ውክልና ለሽያጭ አይበቃም። ቤት ለመሸጥ ልዩ ሥልጣን ያስፈልጋል፤ «እንዲሸጥልኝ» የሚል ቃል በግልጽ ይኑርበት። አዛውንቱ ሌላ ሚስት አግብተው ከሆነም እሳቸው አጠገብ ትቁም።

ይህ ሳምንታት ይፈጃል። ደላላው ይናደዳል። ይናደድ። እኔ እንዳየሁት ጥር ሲመጣ ከተማው በእንግዳ ይሞላል፣ ሻጭም ዓይኑን ከውጭ በመጣው ሰው ላይ ይጥላል፣ ዋጋም ይሰቀላል። እንግዳው ጥምቀተ ባሕር ወርዶ፣ ቤተሰብ ጠይቆ ሲመለስ ወሬው ይበርዳል። ያ የአሜሪካ ሰው እውነት ካለ ደግሞ እሱም ያለ አዛውንቱ ልጆች ፊርማ ቢገዛ ከዚያው ጣጣ ውስጥ ነው የሚገባው።

ስለ ቀብድ «ሻጭ ካፈረሰ እጥፍ ይመልሳል» ብለው ሳያጽናኑሽ አልቀሩም። እውነት ነው፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ እንዲህ ይላል። ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ሰጪው ውሉን ከተወ ቀብዱ ይቀርበታል፤ ተቀባዩ ከተወ እጥፉን ይመልሳል። በወረቀት 600 ሺህ ታገኛለሽ ማለት ነው። ገንዘቡን በልተው የጨረሱ አዛውንት ግን ከየት ያመጡልሻል? ቀብድ የሚሰጠው ሰነዱ ተጣርቶ ካለቀ በኋላ ነው፤ ያውም በባንክ ሒሳብ እንጂ በእጅ አይሁን።

የዋጋው ነገር አናድዶኛል። 4 ሚሊዮን 200 ሺህ ከፍለሽ 1 ሚሊዮን 500 ሺህ ብለሽ አትፈርሚ። ነገ ውሉ ቢፈርስ ዳኛው ፊት የሚቆምልሽ ወረቀቱ ነው። ቀሪውን 2 ሚሊዮን 700 ሺህ ከፈልኩ ብለሽ በምን ታስረጃለሽ? መንግሥትን መዋሸትም ነው። ግብሩ ከበዳቸው ዋጋው ላይ ተነጋገሩ። የስም ዝውውሩንና የቴምብሩን ወጪ ማን እንደሚችል፣ የደላላው ኮሚሽን ስንት እንደሆነ አሁኑኑ ተስማሙና ጻፉት።

ውሉ ደላላው ቡና ቤት ውስጥ ሁለት ምስክር አስቀምጦ የሚያስፈርማችሁ አይሁን። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ወይም አዋዋይ ፊት ይመዝገብ ይላል። ሰነድ ማረጋገጫ ሄዳችሁ ፈርሙ። ከዚያ በፊት ክፍለ ከተማው መሬት ጽሕፈት ቤት ገብተሽ ዕዳና እገዳ አጣሪ፤ በባንክ የተያዘ ወይም በፍርድ ቤት የታገደ እንዳይሆን። የምትፈርሚ ዕለት ጠዋት ደግመሽ አጣሪ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ብዙ ነገር ይመጣል።

ይዞታው ነባር ነው (ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ) ወይስ ሊዝ (ለተወሰነ ዘመን በክፍያ ከመንግሥት የተያዘ)? እሱንም ጠይቂ። ሕገ መንግሥቱ እንደሚለው መሬት አይሸጥም፤ የምትገዢው ቤቱን ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ደግሞ ነባር ይዞታ ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ለሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ይገባል ይላል። ዓመታዊ ክፍያው ስንት እንደሚሆንብሽ ባለሙያው ቁጭ አድርጎ ያስላልሽ። ሜትር ይዘሽ ሂጂና ግቢውንም ለኪ። ካርታው 200 ካሬ ካለና አጥሩ 240 ካቀፈ፣ አርባው የአንቺ አይደለም።

አሁን ወደ ቤቱ። በበጋ የታየ ቤት ሁሉ ያምራል። ዋልካ መሬት ላይ የተሠራ ቤት ግን ክረምት ሲመጣ መሬቱ ያብጥበታል፣ በጋ ሲሆን ይሰነጠቅበታል፣ ግድግዳውም አብሮ ይሄዳል። ባለፈው ዓመት ከልጄ ጋር አንድ ቤት ልናይ ሄድን። ቀለሙ ገና ይሸታል። ልጄ ቁም ሣጥኑን በትከሻዋ ገፋ አደረገችው። ከኋላው ከወለል እስከ ኮርኒስ የሚወጣ ስንጥቅ አለ፤ ትንሽ ጣቴ ገባበት። የመኝታ ቤቱን በር ስዘጋው ከላይ ነከሰ። ዝም ብለን አመስግነን ወጣን። አንቺም ዕቃ አስነሺ፤ በሩን ሁሉ ክፈቺና ዝጊ።

ውሃስ? ጎንደር ውስጥ ውሃ ሳይጠይቁ ቤት አይገዛም። ሻጩንና ደላላውን ተያቸው፤ ጎረቤት ጠይቂ። በስንት ቀን ይመጣል? ሌሊት ነው ቀን? ግፊቱ ሮቶው ድረስ ይወጣል? ጀሪካን ተደርድሮ ካየሽ መልሱን አግኝተሻል።

አዛውንቱን ሌባ ናቸው አላልኩም። እንደ አባቴ ሳያውቁ ይሆናል። አብራቸው የምትኖር ሴት ልጅ ካለች አንድ ከሰዓት ብቻሽን ሂጂ፤ ደላላውን አትጥሪው። ቡና ከተፈላ አረፍ በይ። ስለ እናቷ ጠይቂያት። ስንት ወንድምና እህት እንዳላት፣ ማን የት እንዳለ፣ ቤቱ እንደሚሸጥ ማን እንደሰማ ራሷ ትነግርሻለች።

«አራዳ ውስጥ አንድ ሰው የሚኖርበትን የቀበሌ ቤት ቁልፍ በ600 ሺህ ልልቀቅልህ አለኝ። ውሉን በስሜ አዛውራለሁ ይላል። ልግባበት?»
ወጣት ነጋዴ፣ ከቅዳሜ ገበያ

ወንድሜ፣ አትግባ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶች የመንግሥት ሆኑ፤ ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩትም በቀበሌ እጅ ገቡ። ሰውየው ተከራይ ነው። ተከራይ የሚሸጠው ቤት የለውም። ቀበሌው ባወቀ ቀን ቤቱን ታጣለህ፤ 600 ሺህህንም በምንም ወረቀት አትጠይቀውም። ገንዘቡ ንግድህ ውስጥ ይቆይ። በሕጋዊ መንገድ መከራየት ከፈለግህ ቀበሌው ጋ ሄደህ ተመዝገብ፤ ተራው ረጅም ነው፣ እኔም አውቃለሁ።